ግራጫ የቀባሁት መሬት፦ የመሬት አጠቃቀም ዕቅድ ሥራ በሦስተኛ ዓመቴ

በክልል መሬት ቢሮ የመሬት አጠቃቀም ዕቅድ ባለሙያ ሆኜ መሥራት ከጀመርኩ ሦስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። የምኖረው ባሕር ዳር ነው። ሥራው ግን ግማሹ ኮምፒውተር ላይ፣ ግማሹ ቀበሌ ለቀበሌ ነው። አዲስ የተቀጠሩ ልጆች «ከየት እንጀምር? ምን ሶፍትዌር እንልመድ?» እያሉ ስለሚደውሉልኝ፣ እስካሁን የተማርኩትንም የተሳሳትኩትንም እንዳለ ላካፍላችሁ።

ብዙ ሰው መሬት ቢሮ ሲባል ትዝ የሚለው ደብተሩ ነው። ልኬታ፣ ድንበር፣ ውርስ፣ የይዞታ ማረጋገጫ። ያ ሥራ መሬቱ በማን እጅ ነው የሚለውን ይመልሳል። የእኛ ጥያቄ ሌላ ነው፤ ይህ ቦታ ለእርሻ ይዋል፣ ለግጦሽ፣ ለደን፣ ወይስ ይከለልና ይረፍ? ሁለቱን ጥያቄዎች ሕጉ አብሮ ነው የያዛቸው። በክልላችን አዋጅ ቁጥር 252/2009 አለ። በፌዴራል ደረጃ ደግሞ አዋጅ ቁጥር 456/1997 ለዓመታት ሲሠራበት ቆይቶ በ2016 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1324 ተተክቷል። ከሶፍትዌሩ በፊት እነዚህን አንብቡ። እኔ በተቃራኒው ነው የጀመርኩት፤ ሁለት ወር ሙሉ ካርታ ማሳመር ስለማመድ ቆይቼ ነው ካርታው በየትኛው አንቀጽ ላይ እንደሚቆም የጠየቅሁት።

የመጀመሪያው ትልቅ ስህተቴ ተዳፋት ላይ ነው። የ1997ቱ አዋጅ ተዳፋቱ ከ60 በመቶ በላይ የሆነ መሬት ለእርሻና ለልቅ ግጦሽ እንዳይውል ይከለክል ነበር። ለዛፍ፣ ለቋሚ ተክልና ለመኖ ብቻ። ከ31 እስከ 60 በመቶ ያለው ደግሞ ዓመታዊ ሰብል የሚዘራበት ጠረጴዛማ እርከን ከተሠራለት ነው። ይህን በቃሌ ያዝኩ። የከፍታ መረጃውን አወረድኩ፣ ኪውጂአይኤስ በሚባለው የካርታ ሶፍትዌር ላይ የተዳፋት ካርታ አወጣሁ፣ 30 እና 60 ላይ ከፋፍዬ ቀለም ቀባሁ፤ ለእርሻ የሚፈቀደውን አረንጓዴ። ወረዳ ወስጄ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩት። አንድ የግብርና ልማት ሠራተኛ ተነሣና «እህቴ፣ ይህ አረንጓዴ ያደረግሽው እኮ ዝንጀሮ የሚውልበት ገደል ነው» አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሶፍትዌሩ በመቶኛ ስጠኝ ካላላችሁት በስተቀር ተዳፋትን የሚሰጠው በዲግሪ ነው። አዋጁ የሚናገረው በመቶኛ ነው፤ በ100 ሜትር አግድም ስንት ሜትር ከፍ ይላል ማለት ነው። 45 ዲግሪ ማለት 100 በመቶ ነው። 60 በመቶ 31 ዲግሪ እንኳ በቅጡ አይሞላም። እኔ 60 ዲግሪ ላይ ስቆርጥ 173 በመቶ ላይ ቆረጥኩ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ቁልቁለት ደግሞ በዚያ መረጃ ላይ የለም ማለት ይቻላል። ተራራው በሙሉ ለእርሻ ተፈቀደ። ያ ሰው ዝም ቢል ኖሮ ካርታው ወደ ዕቅድ ሰነድ ይገባ ነበር፤ ይህን ሳስበው አሁንም ሆዴ ይረበሻል።

ከዚያ ወዲህ አንድ ልማድ አለኝ። ከማንኛውም የተዳፋት ካርታ ላይ አምስት ስድስት ቦታ እመርጥና በገመድ ሄጄ እለካለሁ። እርከን የሚሠሩ ገበሬዎች የሚጠቀሙበት ያው የውሃ ልክና የ10 ሜትር ገመድ ነው። ገመዱ ተወጥሮ ልኩ ሲገጥም፣ ታችኛው ጫፍ ከመሬቱ 3 ሜትር ከፍ ካለ 30 በመቶ ነው፤ አበቃ። ቁልቁለቱ ሲብስ ገመዱን አሳጥሮ ደጋግሞ መለካት ይሻላል። ሌላም ጥቅም አለው። በነጻ የምናወርደው የከፍታ መረጃ አንዱ ነጥብ 30 ሜትር በ30 ሜትር ነው፤ 900 ካሬ ሜትር። የብዙ ገበሬ ማሳ ሩብ ሄክታር ነው፤ 2,500 ካሬ ሜትር። ሦስት ነጥብ አይሞላም። አንድ ቤተሰብ ሃያ ዓመት የደከመበት እርከን በዚያ መረጃ ላይ አይታይም። ስለዚህ «ካርታው እንዲህ ይላል» ብሎ ከገበሬ ጋር መከራከር ትክክል አይደለም፤ ካርታው የእሱን ማሳ አላየውም።

ሁለተኛው ስህተት አጭር ነው፣ ግን ብዙዎቻችሁ ስለምትገቡበት ልናገረው። የድሮዎቹ የ1 ለ50,000 ካርታዎች የተሠሩት አዲንዳን በሚባለው የቦታ መለኪያ መነሻ (ዳተም) ነው። ጂፒኤሱ ደግሞ የሚሰጠው ደብሊው ጂ ኤስ 84 በሚባለው ሌላ መነሻ ነው። ሁለቱንም መነሻውን ሳትለዩ በካርታ ክልል ቁጥሩ ብቻ «ዞን 37» ብላችሁ ከጫናችኋቸው ሶፍትዌሩ አይጮህም። ቦታው ግን ከ200 ሜትር በላይ ይንሸራተታል። እኔ አንድ ምንጭ ከአንዱ ቀበሌ ወደ ጎረቤቱ አሻገርኩት። ሁለቱ ቀበሌዎች በዚያ ውሃ ለዓመታት ሲነታረኩ የኖሩ መሆናቸውን ያወቅሁት ስብሰባው መሀል ነው። አሁን ማንኛውም የድሮ ካርታ ከመጣልኝ መጀመሪያ የማየው መነሻው የተጻፈበትን የታችኛውን ጥግ ጽሑፍ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ።

ከጣና በስተምሥራቅ ያለውን ሜዳ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ርብና ጉማራ ክረምት ሲሞሉ ከአፋቸው ወጥተው ሜዳውን ያለብሱታል። አፈሩ ዋልካ ነው፤ ውሃ ይዞ ይቆያል። ድሮ የፎገራ ከብት የሚታወቅበት አገር ነበር። ሩዝ ከገባ ወዲህ ግን ሜዳው ተለወጠ። ውሃ የሚተኛበት መሬት ዋጋ አገኘ፣ ሩዝ ሳይታጨድ ቀጥሎ ስለሚዘራው ጓያና ሽንብራ ወይም በመስኖ ስለሚለማው ሽንኩርት ይታሰባል፣ ግጦሹም በየዓመቱ እየጠበበ ሄደ። እዚያ አካባቢ ላለች አንዲት ቀበሌ የቀበሌ ደረጃ አሳታፊ የመሬት አጠቃቀም ዕቅድ እንድንሠራ ተመደብን።

ቢሮ ሆኜ ከሳተላይት ምስል ላይ አሁን ያለውን አጠቃቀም ለየሁ። ሩዝ ማሳ፣ መንደር፣ ባሕር ዛፍ፣ ወንዝ። በወንዙና በመንደሩ መሀል አንድ ሰፊ ቁራሽ ቀረ። ሰብል የለበትም፣ ዛፍ የለበትም፣ ቤት የለበትም። ምስሉ የመጋቢት ነው፤ መሬቱ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ግራጫ ቀባሁትና «ያልለማ መሬት» ብዬ ጻፍኩበት። በሐሳቤ ለወጣቶች የሩዝ ማኅበር የሚሆን ቦታ ያገኘሁ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር።

የመጀመሪያው ስብሰባ ላይ ማንም አልተቃወመም። ወንዶቹ ፊት ተቀምጠዋል፣ ሴቶቹ ከኋላ ዛፍ ሥር። ካርታውን አሳየሁ፣ አንገት ተነቀነቀ፣ ቃለ ጉባኤ ተፈረመ። እንደ ጀማሪ «ኅብረተሰቡ ተስማምቷል» ብዬ ሪፖርት ልጽፍ ነበር። አብሮኝ የነበረ ነባር ባልደረባዬ ግን «ነገ በእግር እንሂድ» አለ። ከመንደሩ ጫፍ እስከ ወንዙ ቀጥ ብለን የምንሄድበት መንገድ አወጣን። አንድ ሽማግሌ፣ ሁለት ወጣቶችና እማማ የምላቸው አንዲት እናት አብረውን ወጡ።

ግራጫው ጋ ስንደርስ እማማ ቆሙ። «ይቺን ነው ባዶ ያልሻት?» አሉኝ። አዎ አልኩ። «ልጄ፣ ኩበት የምንለቅመው ከዚህ ነው። ለቤት ክዳን የሚሆነው ሣር ከዚህ ነው። ውሃው ሲሸሽ ላሞቹ የሚውሉት እዚህ ነው። አንቺ የመጣሽው ሁሉም ካለቀ በኋላ ነው።»

በዚያ አካባቢ እንጨት የለም ማለት ይቻላል። ምጣድ የሚሞቀው በኩበት ነው። ያ ቁራሽ ለሩዝ ቢከፋፈል ላሞቹ ይቀንሳሉ፣ ላሞቹ ሲቀንሱ ኩበቱ ይጠፋል፣ ኩበቱ ሲጠፋ የእማማ ቤት ማገዶ መግዛት ይጀምራል። ይህ ሰንሰለት የትኛውም መረጃ ቋት ውስጥ የለም። ስብሰባው ላይም አልተነሣም፤ ኩበት የሚለቅሙት ሴቶቹና ልጆቹ ናቸው፣ እነሱ ደግሞ ከኋላ ነበሩ። እኔ ራሴ ሴት ሆኜ ከኋላ ያሉትን ሳልጠይቅ ማለፌ ያንገበግበኛል።

በዚያው ቀን ማታ የወቅት ሰንጠረዥ ሠራን። መሬት ላይ አሥራ ሁለት መስመር አሰመርን፣ ለየወሩ አንድ። ጳጉሜን ከነሐሴ ጋር ደረብናት። ከሐምሌ እስከ መስከረም ጠጠር አስቀመጡ፤ ውሃ ነው። ከጥቅምት መጨረሻ ጀምሮ ሣር። ኅዳርና ታኅሣሥ ሩዝ ስለሚታጨድ ከብቱ በሙሉ ወደዚያ ቁራሽ ይገፋል። ጥር ላይ የሣር አጨዳ። መጋቢት ላይ ባዶ። እኔ ያየሁት ያቺን ባዶዋን ወር ብቻ ነው! ከዚያ ወዲህ የአንድን ቦታ አጠቃቀም በአንድ ምስል አልወስንም። ቢያንስ የጥቅምት፣ የጥርና የሚያዝያ ሦስት ምስሎች ጎን ለጎን አያለሁ። ክረምቱን ደመና ይሸፍነዋል፤ እሱን ከሰው አፍ ነው የምሰማው።

ታሪኩ ግን በዚህ አላለቀም። ሁለቱ ወጣቶች ሲመለሱ ለብቻ አናገሩኝ። «እኛስ?» አሉ። እውነታቸውን ነው። አባቶቻቸው ሩብና ግማሽ ሄክታር ይዘዋል፤ ለአምስት ልጅ የሚከፋፈል ነገር የለም። ሕገ መንግሥቱ መሬት አይሸጥም አይለወጥም ብሏልና ገዝተው አይገቡም። ያላቸው ተስፋ የወል መሬት ነው። እማማም እነሱም ልክ ናቸው። እኔ ካርታ ላይ ብዙ ቀለም አለኝ፤ ሁለቱን ልክ የሚያደርግ ቀለም ግን አጣሁ።

የመጣነው መፍትሔ ግማሽ ነው። ቁራሹ በወል ግጦሽነት ጸና። በወንዙ ዳር ያለው ቀጭን ጥግ ብቻ፣ ደለል የሚጥልበት፣ ለወጣቶቹ ለበጋ አትክልት ተለየ። የሣሩ አጨዳም በተራ እንዲሆን የቀበሌው የመሬት አስተዳደርና አጠቃቀም ኮሚቴ መተዳደሪያ ደንብ ጻፈ። ከወጣቶቹ አንዱ አልተደሰተም፣ አሁንም አልተደሰተም። ሰነዱ ውስጥ ቅሬታው እንዲገባ አድርጌያለሁ፤ በስምምነት ብቻ የተሞላ ዕቅድ አሁን አላምንም።

ከመስክ ውጪ የተማርኩት ደግሞ አለ። መውጣት በማይቻልባቸው ወራት በአዊ ያለችውን የፋግታ ለኮማ ወረዳ የሳተላይት ምስሎች በየዓመቱ ደርድሬ አየሁ። መሬቱ አሲዳማ ነው፤ ጤፍና ገብስ እምቢ ብሎ ነበር። ገበሬው ራሱ ዲከረንስ የሚባለውን ቶሎ የሚያድግ የግራር ዓይነት ዛፍ መትከል ጀመረ። በመጀመሪያው ዓመት ችግኙን ከጤፍ ጋር፣ በሁለተኛው ሣር ያጭድበታል፣ በአራትና በአምስት ዓመቱ ቆርጦ ከሰል ያወጣል፣ ከዚያ ወደ ጤፍ ይመለሳል። ምስሉ ላይ ወረዳው ሲለመልም በዓይናችሁ ታያላችሁ። ያንን አዙሪት ማንም ባለሙያ በካርታ አላወጣላቸውም። በቅርብ ዓመታት ግን በሽታ ገብቶበት ብዙ ማሳ ደርቋል። ሁሉም በአንድ ዛፍ ላይ ከተደገፈ በኋላ የሚመጣውን አደጋ አስቀድሞ መናገርና ሌላ ዝርያ ማሰባጠር የእኛ ድርሻ ይመስለኛል። ገበሬው የራሱን ማሳ ያያል፤ እኛ ደግሞ ወረዳውን በሙሉ።

አሁን የት ደረስኩ? አፈር በእጄ መለየት ተምሬያለሁ፤ አርጥቦ አሽቶ ማድቦልቦል፣ እንደ ክር ከረዘመ ሸክላማ ነው፣ ከተበጣጠሰ አሸዋማ። ስምንቱን የመሬት አቅም ደረጃዎች ያለ ሰንጠረዥ መመደብ ችያለሁ። ስብሰባ ስጠራ ሴቶቹን ለብቻ፣ ወጣቶቹን ለብቻ አናግሬ ነው ሁሉንም የማገናኘው። አንድ ቀን ተኩል ይጨምራል፣ አበሉም አይበቃም፣ ግን አልተወውም። «ያልለማ መሬት» የሚለውን መደብ ከካርታዬ ማብራሪያ አውጥቼዋለሁ። ቦታው ላይ ሄጄ ማን እንደሚጠቀምበት እስክጠይቅ «ገና ያልተጠየቀ» ብዬ ነው የምጽፈው። አለቃዬ መጀመሪያ ግር ብሎት ነበር፤ አሁን እሱም ይጠቀምበታል።

ያልተማርኩት ብዙ ነው። የ1324ን አዋጅ ከክልሉ አሠራር ጋር ጎን ለጎን እያነበብኩ ነው፤ ግማሽ ላይ ነኝ። የሳተላይት ምስሎችን በኮድ መተንተን ጀምሬ ሁለት ጊዜ አቋርጬዋለሁ፤ ከጥቅምት በፊት እጨርሰዋለሁ ብዬ ለራሴ ቃል ገብቻለሁ።

አሁን የያዘኝ ጉዳይ ይህ ነው። ሁለት ቀበሌዎች በጋራ የሚጠቀሙበት ግጦሽ አለ። በሰነድ የአንዱ ነው፤ ከብቱ ግን በበጋ ከሁለቱም ይመጣል። ዕቅዱ በየቀበሌው ስለሚሠራ አንደኛው ቀበሌ ሲከልለው ሌላኛው የት እንደሚሄድ አይጽፍም። ሁለቱን ኮሚቴዎች ኅዳር ላይ አንድ ዛፍ ሥር ላስቀምጣቸው አስቤያለሁ። እንዲህ ያለውን ጉዳይ የሠራችሁ ካላችሁ፣ ደንቡን ማን እንደፈረመውና ሁለተኛው ዓመት ላይ ማን እንዳስከበረው ንገሩኝ።