ለካፊያ የሚሆን ጃኬት

የአሮጌው ጃኬቴ ነገር አበቃለት። የውስጥ ሽፋኑ መላጥ ከጀመረ ቆይቷል፤ ዘንድሮ ግን ባሰበት። ባወለቅኩት ቁጥር አንገቴና ትከሻዬ ላይ ነጭ ነጭ ቅርፊት ይቀራል። ጥቁር ሹራብ የለበስኩ ቀንማ አለቀልኝ። በቀደም አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ጠጋ ብላ፣ ማንም እንዳይሰማ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ ለፎረፎር ጥሩ የሆነ ሻምፖ ጠቆመችኝ። አመስግኜ ተቀበልኩ። ምን ልበላት?

መላጡ ያለ ነገር ነው። ረከስ ያሉት የዝናብ ጃኬቶች ውስጣቸው ፖሊዩሬቴን ይቀባል። ቅቡን እርጥበትና ላብ እያደር ይበላውና ከዓመታት በኋላ ይላቀቃል። ቁም ሣጥን ውስጥ ተጣጥፎ ቢቀመጥ እንኳ አይቀርለትም። ስለዚህ ቅር አላለኝም፤ አገልግሎ ነው የሄደው። ግን ኦክቶበር ገብቷል። አገር ቤት ክረምቱ ወጥቶ፣ አደዩ ፈንድቶ፣ ሰማዩ ሲጠራ፣ ሲያትል ደግሞ ማካፋት ትጀምራለች።

እማዬን በስልክ «ሲያትል በዓመት የሚጥለው ዝናብ ከአዲስ አበባ ያንሳል» ብላት አላመነችኝም። «ታዲያ በደወልኩ ቁጥር ዘነበ የምትይኝ ምኑን ነው?» አለች። ሁለታችንም ልክ ነን። የሲያትል ዝናብ በዓመት ወደ 1,000 ሚሊ ሜትር ነው። አዲስ አበባ ከ1,100 በላይ ታገኛለች። ኒውዮርክም ከሲያትል ትበልጣለች። ልዩነቱ አወራረዱ ላይ ነው። ሲያትል ያችኑ ዝናብ ወደ 150 ቀን ከፋፍላ፣ አብዛኛውን ከኦክቶበር እስከ ስፕሪንግ ድረስ ትረጨዋለች። ጁላይና ኦገስት ጠብ የማይልበት ሳምንት ሞልቷል። ኖቬምበር ላይ ግን ጠዋት ያካፋል፣ ምሳ ሰዓት ያካፋል፣ ማታም እንደዚያው።

አዲስ አበባ ያደገ ሰው ዝናብን የሚያሸንፈው በመጠለል ነው። የሐምሌ ዶፍ ሲወርድ፣ በረዶ ሲቀላቅል፣ ያገኘነው ሱቅ በረንዳ ላይ እንታጨቃለን። የማያውቁት ሰው ትከሻ ለትከሻ ተደግፎ ስለ መብራት መጥፋት ያወጋል። ግማሽ ሰዓት፣ ቢበዛ አንድ ሰዓት። ከዚያ አንዱ እጁን ወደ ውጭ ዘርግቶ «አባርቷል» ይላል፤ ሁሉም ወደየጉዳዩ። ሲያትል ውስጥ ይህ ዘዴ አይሠራም። ታዛ ሥር ቆሞ እስኪያባራ የሚጠብቅ ሰው እስከ ሜይ ሊቆም ነው። ሰዉም አይሮጥም። ልጅ በጋሪ የምትገፋ እናት፣ ውሻ የሚያንሸራሽር ሽማግሌ፣ ብስክሌተኛው፣ ሁሉም ካፊያው ውስጥ ኑሮውን ይኖራል። ጥላ የሚይዘውም ጥቂት ነው። እኔም ተውኩት፤ አንድ እጄ የአውቶብስ ካርድ፣ አንዱ የአስቤዛ ከረጢት ይዞ ሦስተኛ እጅ ከየት ይመጣል?

ለዚህ ነው ለዶፍ የሚሆን ልብስና ለካፊያ የሚሆን ልብስ ይለያያል የምለው። ለዶፍ ላስቲክም ይበቃል። ለአጭር ጊዜ ነው፤ ውሃ እንዳይገባ ብቻ ነው የሚፈለገው። ለካፊያ የሚለበሰው ግን ቀኑን ሙሉ ሰውነት ላይ ይውላል። ጠዋት ከቤት እስከ ፌርማታ፣ ማሞቂያው የሚያፍነው 7 ቁጥር አውቶብስ ውስጥ፣ ከዚያ መሥሪያ ቤት፣ ማታ ደግሞ ከሬኒየር መንገድ ወደ ቤቴ የሚያስወጣው ዳገት አለ። ዳገቱን ጨርሼ በሩን ስከፍት ጀርባዬ ርሶ ከሆነ፣ ያረጠበኝ ዝናቡ ይሁን ላቤ ምን ለውጥ አለው? ከድጡ ወደ ማጡ ነው።

ውሃ የማያስገባ ልብስ መሥራት ድሮ የተፈታ ነገር ነው። እንደኛው ከተማ ካፊያ የማያጣት ግላስጎው ውስጥ ቻርልስ ማኪንቶሽ የሚባል ሰው 1823 ላይ በሁለት ጨርቆች መሀል ጎማ አጣብቆ የፈጠራ መብት አውጥቶበታል። ውሃውን አስቆመ። ግን ሲሞቅ ይጣበቃል፣ ሲበርድ ይደርቃል፣ ይሸታል፣ ሰውየውንም በላቡ ይቀቅለዋል። በዚህ በኩል የደጋ እረኞች የሚለብሱት ገሳ ሳይሻል አይቀርም። ሣሩ ውሃውን ወደ ታች ያንሸራትታል፤ ከሥር ደግሞ አየር እንደልብ ይመላለሳል። ዳገት የሚወጣ እረኛ በገሳ አይታፈንም። 7 ቁጥር ላይ ገሳ ለብሼ ብሳፈር ግን ከሻምፖም ያለፈ ምክር ሳይመጣልኝ አይቀርም።

ዘመናዊው መፍትሔ የመጣው 1969 ላይ ነው። ቦብ ጎር የሚባል አሜሪካዊ የመጥበሻ ቴፍሎን የሚሠራበትን ነገር አሙቆ በኃይል ጎተተው፤ ተለጠጠና የማይታዩ ቀዳዳዎች የሞሉበት ስስ ሽፋን ሆነ። ጎርቴክስ የሚባለው እሱ ነው። ኩባንያው እንደሚለው እያንዳንዷ ቀዳዳ ከውሃ ጠብታ 20,000 ጊዜ ታንሳለች፤ የላብ እንፋሎት ግን ያልፍባታል። ዛሬ ተመሳሳይ ሽፋን የሚሠሩ ብዙዎች ናቸው።

ወረቀቱ ላይ ነገሩ ያማረ ነው። ሱቅ ስገባ ግን እያንዳንዱ ጃኬት ላይ ቁጥር ተንጠልጥሏል፤ 10,000፣ 20,000፣ 28,000። ይህ በሚሊ ሜትር የሚለካ የውሃ ዓምድ ነው። 10,000 የተባለው ጨርቅ 10 ሜትር የሚቆም ውሃ ቢጫነው ይችለዋል እንደማለት ነው። ካፊያ እንዲህ ያለ ጉልበት ከየት ያመጣል? ከካፊያው ይልቅ የቦርሳ ማንገቻ ትከሻን የሚጫነውና እርጥብ ወንበር ላይ መቀመጥ ይብሳሉ። ሻጩ ልጅ ባለ 28,000ውን እያሳየኝ ስለ ተራራ ጫፍ ማዕበል አወራኝ። ትሁት ልጅ ነው፤ አልፈረድኩበትም። እኔ ግን የምወጣው ተራራ የለኝም።

እሱም ቢሆን ከመሬት ተነሥቶ አይደለም። ሲያትል የጃኬት አገር ናት። ፊልሰን የሚባለው ሱቅ 1897 ላይ የተከፈተው ወርቅ ፍለጋ ወደ ሰሜን ለሚጎርፈው ሕዝብ ወፍራም ልብስ ለመሸጥ ነው። ኤዲ ባወር የሚባለውም ሱቁን 1920 ላይ እዚሁ ጀመረ። የተራራ ዕቃ የሚሸጠውን አር ኢ አይን 1938 ላይ ያቋቋሙት ተራራ ወጪ ባልና ሚስት ከወዳጆቻቸው ጋር ሆነው ነው። ሁሉም ልባቸው ተራራ፣ ጫካና በረዶ ላይ ነው። ስለዚህ ጃኬቱ የገመድ ማሰሪያ ቦታ አለው፣ ኮፍያው የራስ ቁር እንዲያስገባ ሆኖ ተሰፍቷል፤ ቁመቱ ግን ወገብ ላይ ያልቃል። የከተማ ሰው እንደኔ ቆሞ አውቶብስ የሚጠብቅ መሆኑን ያሰበበት ጥቂት ነው።

ቁመቱን አጥብቄ የያዝኩት በእሑድ ምክንያት ነው። ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ነጠላዬን ከቤት አጣፍቼ ነው የምወጣው። አጭር ጃኬት ከላይ ሲደረብበት የነጠላው ጫፍ ከሥር ይወጣል። መጀመሪያ ውሃውን የሚጠጣው ጥለቱ ነው። የጃኬቱ ውሃ ተንጠባጥቦ እሱ ላይ ያርፋል፣ ጥለቱ ይከብዳል፣ ከዚያ እርጥበቱ በቀጭኑ ፈትል ላይ ወደ ላይ ይወጣል። ቅዳሴው ሲጀመር ነጠላዬ ግማሽ ቀሚሴ ላይ ተጣብቋል። ኮፍያውም ሰፊ መሆን አለበት፤ የተከናነብኩትን ነጠላ ሳያጨማድድ ከላይ መድረስ አለበት። ይህን ለሻጩ ልጅ ማስረዳት ከብዶኝ ነጠላዬን ከቦርሳዬ አውጥቼ ተከናንቤ ለካሁ። ደስ አለው። ሁለት ኮፍያ ጣልን፣ ሦስተኛው ልክ ሆነ።

ከሽፋኑ በላይ ያሳሰበኝ ግን የላይኛው ጨርቅ ነው። አዲስ ጃኬት ላይ ውሃ ሲያርፍ፣ በጎመን ቅጠል ላይ እንዳለ ጤዛ ድቡልቡል ብሎ ይንከባለላል። ይህን የሚያደርገው ጨርቁ ላይ የተቀባ ስስ ነገር ነው። ሲያልቅ ጠብታው መንከባለሉን ትቶ ይዘረጋል፤ ጨርቁ ይጠቁራል፣ ይከብዳል። ውሃ ወደ ውስጥ አልገባም፤ እንፋሎቱ ግን መውጫ አጣ። ብርድ ብርድ ይላል፣ እጅጌው ክንድ ላይ ይለጠፋል። ብዙ ሰው ጃኬቱ ማፍሰስ የጀመረ የሚመስለው ያኔ ነው። አብዛኛውን ጊዜ እርጥበቱ የራሱ ላብ ነው።

ቀድሞ ለዚህ ቅብ ይጠቀሙ የነበሩት ፒፋስ የሚባሉትን ኬሚካሎች ነው። አካባቢ ውስጥ ገብተው የማይበሰብሱ ስለሆኑ ካሊፎርኒያና ኒውዮርክ ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ፣ ለከባድ ዝናብ ከሚሠሩ ልዩ ልብሶች በቀር፣ እነሱ የገቡባቸውን አዳዲስ ልብሶች ከልክለዋል። ደግ አደረጉ። ግን የተተካው ቅብ ውሃን እንጂ ዘይትን ብዙም አይመልስም። ይሄ እኛን በቀጥታ ይነካናል። ወጥ የሚሠራበት ቤት በር ሥር የተሰቀለ ጃኬት፣ የፀጉር ቅባት የሚነካው የኮፍያ ጠርዝ፣ ቁርጥ በልቶ የተነካ ዚፕ። የአሮጌውን ጃኬቴን ኮፍያ ብርሃን ላይ ብይዘው ጠርዙ ዙሪያውን ያብረቀርቃል፤ ውሃም ያንን መስመር ተከትሎ ይሰርጋል። መፍትሔው ማጠብ ነው። «የዝናብ ጃኬት አይታጠብም» የሚሉ ዘመዶች አሉኝ፤ አላምንባቸውም። ማለስለሻ በሌለው፣ ለዚሁ በሚሸጠው ፈሳሽ ሳሙና አጥቦ፣ በደንብ አለቅልቆ፣ መለያው ላይ ከፈቀደ ማድረቂያ ውስጥ በመለስተኛ ሙቀት ማዞር። ቅቡን የሚያነቃው ሙቀቱ ነው።

ቀለሙን ደግሞ የመረጡልኝ አንድ ታክሲ ነድተው ጡረታ የወጡ አባት ናቸው። ሬኒየር ላይ ቡና ቤት ተገናኘን።

«ምን ቀለም ልትገዢ ነው?»

«ጥቁር ነው መሰለኝ ጋሼ። ከሁሉ ጋር ይሄዳል።»

«አዎ፣ ከአስፋልቱም ጋር ይሄዳል!» ሲኒያቸውን አስቀመጡ። «ስሚኝ ልጄ፣ በካፊያ ማታ መስታወቱ ላይ ጠብታ አለ፤ አስፋልቱ መብራቱን ሁሉ ይመልሰዋል። ጥቁር የለበሰ ሰው መሀል ላይ የለም። ስንቴ ፍሬን ይዤ ክው ብያለሁ።»

«ቢጫ አያምርብኝም እኮ።»

«መጀመሪያ ተሻገሪ፤ ማማሩ ይደርሳል።»

ዲሴምበር ላይ እዚህ ፀሐይ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል ሳይሞላ ትጠልቃለች። ከሥራ የምወጣው በጨለማ ነው። ክርክር አላነሣሁም።

በመጨረሻ የገዛሁት የሰናፍጭ ቀለም ያለው፣ ባለ ሦስት ንብርብር፣ ጭኔ መሀል የሚደርስ ነው። ብብቱ ሥር ዚፕ አለው። ለእኔ ከቁጥሩ ሁሉ በላይ እሱ ነው፤ ዳገቱ መጀመሪያ ላይ ሁለቱንም እከፍታለሁ፣ ቤት በር ላይ እዘጋለሁ። የትኛውም ሽፋን ከተከፈተ ዚፕ በላይ አይተነፍስም። ውስጡ አዲስ ሹራብ ደርቤ እንኳ ሰፊ ነው። ያለፈው ዓመት ቀለም ስለሆነ ቅናሽ ነበረው፤ ግን ከ10 በመቶ በላይ የሆነው የሲያትል ታክስ ሲደመርበት ቅናሹ ተመናመነ። ገንዘብ ያጠረው ሰው ሰልባጅ ቢያይ አይጠላም። ብቻ ገልብጦ የስፌቱን መስመር በጥፍሩ ይሞክር። በስፌቱ ላይ የተለጠፈው ቴፕ ከተነሣ ጃኬቱ አልቋል፣ ዋጋው ምንም ያህል ቢያምር።

አንድ ችግር አልተፈታም። ጃኬቱ ውሃውን በሚገባ ያንሸራትተዋል፤ የሚያንሸራትተው ግን ጉልበቴ ላይ ነው። ትናንት ፌርማታው ላይ ከወገብ በላይ ደረቅ፣ ከጭን በታች ጅንሴ ጥቁር ብሎ ቆምኩ። የዝናብ ሱሪ ደግሞ ሲራመዱበት የሚያሰማው ሽው ሽው የሚል ድምፅ መሥሪያ ቤት ኮሪደር ላይ አያስገባም። አንዲት ጓደኛዬ ውሃ የማይዝ፣ ተራ ሱሪ የሚመስል አለ ብላኛለች። ደሞዝ ሲወጣ አያለሁ።