ለጀማሪ የትኛው ሊኑክስ? ከስሙ በፊት ዋይፋይ ካርዱን እዩ

ሊኑክስ እንደ ዊንዶውስ ኮምፒውተርን የሚያንቀሳቅስ ሲስተም ነው፤ ብዙ ዓይነትም አለው። “የትኛውን ሊኑክስ ልጫን?” ብሎ ለጠየቀ ሁሉም የሚመልስለት የራሱን ነው። አርች የሚጠቀመው አርች ይላል፣ ዴቢያን የሚጠቀመው ዴቢያን። ለጀማሪ ምርጫውን የሚወስኑት ግን ሌሎች ነገሮች ናቸው፦ ላፕቶፑ ውስጥ ያለው ዋይፋይ ካርድ፣ የራሙ መጠን፣ ዲስኩ ኤስኤስዲ መሆን አለመሆኑ፣ ኢንተርኔቱስ በፓኬጅ የሚገዛ ነው ወይስ ያልተገደበ?

የኔን መልስ ላስቀድም። ሊኑክስ ሚንት ጫኑ። ራሙ 8 ጊጋ ከሆነ የሲናመን እትሙን፣ 4 ጊጋ ከሆነ ቀለል ያለውን ኤክስኤፍሲኢ። ዲስኩ የድሮው የሚሽከረከር ዓይነት ከሆነ ግን የትኛውም እትም ተአምር አይሠራም፤ መጀመሪያ ኤስኤስዲ ግዙ። የሚንት 22 እትሞች የተሠሩት ኡቡንቱ በሚባለው ሌላ ሊኑክስ 24.04 እትም ላይ ሲሆን የደህንነት አፕዴት እስከ 2029 ያገኛሉ።

ኡቡንቱስ ምን ጎደለው? ምንም፤ ዳታ በፓኬጅ ለሚገዛ ሰው ግን አንድ ጣጣ አለው። ፋየርፎክስን ጨምሮ አንዳንድ ፕሮግራሞች የሚመጡት ስናፕ በሚባለው ዘዴ ነው። ስናፕ በቀን 4 ጊዜ አዲስ ነገር መኖሩን እየፈተሸ፣ ካገኘ ሳይጠይቅ ያወርዳል። ከስልክ ሆትስፖት ላይ ከሆናችሁ ፓኬጁ የት እንደገባ ሳታውቁ ያልቃል። ሚንት ስናፕን አብሮ አይጭንም፤ አፕዴቱንም ዝርዝሩንና መጠኑን አይታችሁ ራሳችሁ ታስጀምራላችሁ።

ፌዶራ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን አንዱ እትም የሚደገፈው 13 ወር ገደማ ብቻ ስለሆነ በዓመት አንዴ ትልቅ ማሻሻያ ማውረድ ግድ ነው። አርች ደግሞ ያለማቋረጥ የሚታደስ ነው። ለወራት ሳታድሱት ቆይታችሁ አንድ ፕሮግራም ብቻ ልጫን ካላችሁ ሊሰበር ይችላል። ለመማሪያ ግሩም ነው፣ ለመጀመሪያ አይደለም። ፍሪቢኤስዲ ሊኑክስ አይደለም፤ ሊኑክስ ከተመሰለበት ከድሮው ዩኒክስ የበርክሌይ ዘር በቀጥታ የወረደ ነው፤ መመሪያ መጽሐፉም ከብዙዎቹ ሊኑክሶች የተሻለ ነው። ለሰርቨር እሰየው፣ በላፕቶፕ ላይ ግን የዋይፋይ ድጋፉ ከሊኑክስ ወደ ኋላ የቀረ ነው። ማክ ያለው ሰው ይህ ሁሉ ጥያቄ አይመለከተውም፤ ማክኦኤስ የዩኒክስ ማረጋገጫ ያለው ሲስተም ስለሆነ ተርሚናልን (ትእዛዝ የሚጻፍበትን መስኮት) ከፍቶ መለማመድ ይችላል።

ወደ ሥራው እንግባ። የሚንት መጫኛ ፋይል ወደ 3 ጊጋ ስለሚጠጋ 4 ጊጋ ፍላሽ ይበቃል፣ 8 ቢሆን ይሻላል። ፋይሉን እንደ ፊልም ኮፒ አድርጎ ፍላሽ ላይ መለጠፍ አይሠራም፤ ሩፉስ ወይም ባሌና ኤቸር በሚባል ፕሮግራም መጻፍ አለበት። ከዚያ በፊት ድረ ገጹ ላይ ያለውን የሻ 256 ቁጥር (ፋይሉ ሳይበላሽ መውረዱን የሚያሳይ መለያ) ካወረዳችሁት ፋይል ቁጥር ጋር አመሳክሩ፤ ዊንዶውስ ላይ ሰርትዩቲል የሚባለው ትእዛዝ ያሰላዋል። በሚቆራረጥ መስመር የወረደ ፋይል ተበላሽቶ መጫኑ መሃል ላይ ሲቆም ሰው ላፕቶፑን ይወቅሳል።

ፍላሹን ሰክታችሁ ስታስነሱ ኤችፒ ላይ ኤፍ 9፣ ዴልና ሌኖቮ ላይ ኤፍ 12 ደጋግማችሁ ተጫኑ። ሚንት ሳይጫን ከፍላሹ ይነሳል። እዚህ ላይ አትቸኩሉ። ዋይፋዩን አገናኙ፣ ድምፅ አጫውቱ፣ የስክሪኑን ብርሃን ቀንሱ፣ ክዳኑን ዘግታችሁ መልሳችሁ ክፈቱ። ክዳኑ ሲከፈት ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ከቀረ ዲስኩን ሳትነኩ አወቃችሁት ማለት ነው።

ዋይፋዩ ጭራሽ ካልታየ ካርዱ ብሮድኮም የሚባለው ኩባንያ ሥሪት ሊሆን ይችላል። አንድሮይድ ስልካችሁን በኬብል አገናኙና ከሴቲንግ የዩኤስቢ ቴዘሪንግን አብሩ፤ ያለ ምንም ድራይቨር (ካርዱን ከሲስተሙ ጋር የሚያግባባ ፕሮግራም) ኢንተርኔት ታገኛላችሁ። ሲስተሙን ከጫናችሁ በኋላ ድራይቨር ማኔጀርን ከፍታችሁ የብሮድኮሙን ምረጡ። ሴኪዩር ቡት (ያልተፈረመ ሶፍትዌር ሲነሳ የሚያግደው ጥበቃ) ከበራ የይለፍ ቃል እንድታወጡ ትጠየቃላችሁ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ከዚህ በኋላ ነው። ላፕቶፑ ሲነሳ ሰማያዊ ስክሪን ይመጣል፤ ሰው ይደነግጥና የመጀመሪያውን “ቀጥል” የሚለውን ይጫናል፣ ዋይፋዩም እንደሞተ ይቀራል። መምረጥ ያለባችሁ “ኢንሮል ሞክ” (ቁልፉን መዝግብ) የሚለውን ነው፤ ያወጣችሁትን የይለፍ ቃል አስገቡና እንደገና አስነሱት።

ዊንዶውስን ጎን ለጎን ለማቆየት ከፈለጋችሁ መጀመሪያ ፋይሎቻችሁን ሌላ ዲስክ ላይ ገልብጡ። ቢትሎከር (የዊንዶውስ ዲስክ መቆለፊያ) የበራ ከሆነ የማገገሚያ ቁልፉን ወረቀት ላይ ጻፉ፤ ያለ እሱ ዊንዶውስ ሊቆልፍባችሁ ይችላል። ፋስት ስታርትአፕን (ዊንዶውስን ቶሎ የሚያስነሳውን ሴቲንግ) አጥፉ፤ ካልጠፋ ዊንዶውስ በትክክል ስለማይዘጋ ሊኑክስ የዊንዶውሱን ክፍል ማንበብ እንጂ መጻፍ አይችልም። ከዚያ ከዊንዶውሱ ዲስክ ማኔጅመንት ለሊኑክስ የሚሆን 50 ጊጋ ያህል ቀንሱ። መጫኛው ዲስኩን ጭራሽ ካላየው በባዮሱ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት በሚከፈተው የላፕቶፑ ሴቲንግ) የዲስኩ አሠራር ሬይድ የሚለው ላይ መሆኑን አረጋግጡ፤ ኤኤችሲአይ ወደሚለው መቀየር ይፈታዋል፣ ግን ዊንዶውስን በሴፍ ሞድ ሳታዘጋጁ ከቀየራችሁት ዊንዶውስ አይነሳም።

ኢትዮጵያ ውስጥ ሌላም ነገር ታያላችሁ፦ ሊኑክስ ተጠቅማችሁ ወደ ዊንዶውስ ስትመለሱ ሰዓቱ በ3 ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል። ባትሪው አልሞተም። ሊኑክስ በማሽኑ ሰዓት ላይ የግሪንዊችን ይጽፋል፣ ዊንዶውስ ደግሞ ያንን የአዲስ አበባ አድርጎ ያነባል። ሊኑክሱን በአካባቢ ሰዓት እንዲጽፍ ማዘዝ ይበቃል።

ለአማርኛ አይባስ የሚባለውን የመጻፊያ ፕሮግራምና ኤም 17 ኤን የሚባለውን ተጨማሪውን ጫኑ፣ ከዚያ አማርኛ ሴራ የሚባለውን የአጻጻፍ ዘዴ ጨምሩ። በላቲን ፊደል እንደምትሰሙት ትጽፋላችሁ፤ ትንሹ ቲ ት ይሰጣል፣ ትልቁ ቲ ጥ። ፓወር ግዕዝ ግን የዊንዶውስ ነው። ዩኒኮድ ባልሆኑ በድሮ ፎንቶች የተጻፈ የመሥሪያ ቤት ሰነድም ፎንቱ ከሌለ የላቲን ፊደልና ምልክት ዝብርቅርቅ ሆኖ ይከፈታል። በፒችትሪ ሒሳብ የምትሠሩ ዊንዶውሱን አታጥፉት። ፎቶሾፕም ሊኑክስ ላይ የለም።

ሁሉም ሲሠራ ታይምሺፍትን ከፍታችሁ የሲስተሙን ቅጂ አስቀምጡ፤ ከሚንት ጋር አብሮ ይመጣል። አንድ አፕዴት ቢያበላሽ ወደዚያ ትመለሳላችሁ። የግል ፋይሎቻችሁን ግን ካላዘዛችሁት አይዝም፤ እነሱን ለብቻ ውጫዊ ዲስክ ላይ ገልብጡ።