200 ካሬ ቦታ ካሬ ነው እንዴ?

ልጄ አምስተኛ ክፍል እያለች አንድ ቀን ከትምህርት ቤት መጣችና የሒሳብ ደብተሯን ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው።

"አባዬ፣ አንተ ያልከኝን ጽፌ ኤክስ ገባብኝ!"

ጥያቄው "ካሬ ሬክታንግል ነው። እውነት ወይስ ሐሰት?" ይላል። ማታ ስትጠይቀኝ ዓይኔን ሳላሽ "ሐሰት" ብያታለሁ። ካሬ ካሬ ነው፣ ሬክታንግል ሬክታንግል ነው፤ ምን ያነጋግራል? በነጋታው መምህሯን ላናግር ቆርጬ ተነሣሁ። ከመውጣቴ በፊት ግን መጽሐፏን ገለጥ አደረግሁት። ሬክታንግል ማለት አራቱም ዘዌዎቹ (የጥጎቹ አንግሎች) 90 ዲግሪ የሆኑ ጎነ አራት ነው ይላል። በቃ። ጎኖቹ ይበላለጡ የሚል የለበትም። የካሬም አራቱ ዘዌዎች 90 ናቸው።

መጽሐፉን ቀስ ብዬ ዘጋሁና ጃኬቴን መልሼ ሰቀልኩ። መምህሯ ዘንድ ሄጄ ቢሆን ኖሮ ጉዴ ፈልቶ ነበር።

ከዚያ በኋላ ለአንድ ወር ያህል እራት ከተነሣ በኋላ ግማሽ ሰዓት እየተቀመጥን ጎነ ብዙዎችን (ፖሊጎኖችን፣ ማለትም በቀጥታ መስመሮች የተዘጉ ቅርጾችን) አብረን ተማርን። አስተማርኳት ብል ውሸት ነው።

መጀመሪያ የታየኝ ችግር ቃላቱ ነበሩ። በተለምዶ "አራት ማዕዘን" ስንል ሁላችንም የምናስበው ሬክታንግልን ነው። ግን የተጣመመም የተንጋደደም ጎነ አራት አራት ማዕዘን አለው። "ካሬ"ም እንደዚያው ነው። "200 ካሬ ቦታ አለኝ" የሚል ሰው ቦታዬ ካሬ ነው ማለቱ አይደለም፤ 200 ካሬ ሜትር ማለቱ ነው። በትክክል ካሬ ቢሆን እያንዳንዱ ጎን 14 ሜትር ከ14 ሳንቲ ገደማ ይሆን ነበር። እንደዚያ የተሸነሸነ ቦታ እኔ አላጋጠመኝም። ልጄ ይህንን ስነግራት "ታዲያ ለምን ካሬ ይሉታል?" አለች። እኔም ይኸው እስከዛሬ እላለሁ።

በነገራችን ላይ ፖሊጎን በግሪክኛ "ብዙ ማዕዘን" ማለት ነው። የእኛ "ጎነ ብዙ" ደግሞ ጎኖቹን ይቆጥራል። ለውጥ የለውም፤ የጎኖቹና የማዕዘኖቹ ቁጥር ሁልጊዜ እኩል ነው።

ጎነ ብዙ የሆነውንና ያልሆነውን ለመለየት የፊደል ገበታ ተጠቀምን። "ሀ" ክፍት ናት፤ ስለዚህ አይደለችም። "ዐ" ዝግ ናት፣ ግን ክብ ናት፤ እሷም አይደለችም። ቀጥ ያሉ መስመሮች፣ ጫፍ ለጫፍ የተጋጠሙ፣ ዞረው የሚዘጉ፣ መሐል ላይ የማይቆራረጡ፤ መስፈርቱ ይኸው ነው። አንድ ማታ ሳምቡሳ ይዛ መጣችና "ይቺስ?" አለችኝ። ሦስት ጥግ አላት፤ ጎኖቿ ግን አብጠዋል። ተከራከርን። እስክንጨርስ ሳምቡሳዋ ተበልታ አለቀች።

ሁለተኛው ጥፋቴ ሠንጠረዥ መሥራቴ ነው። ካሬ፣ ሬክታንግል፣ ሮምበስ፣ ፓራሌሎግራም፣ ትራፒዚየም ብዬ ከየስማቸው ጎን ጠባያቸውን ጻፍኩና "አጥኚው" አልኳት። በቃሏ ያዘችው። በማግስቱ ከካርቶን የቆረጥኩትን ካሬ በአንድ ጥጉ አቁሜ ሳሳያት "ዳይመንድ!" አለች። ለካ ያጠናችው የሥዕሉን አቀማመጥ ነው።

"አንቺ ስትጋደሚ ስምሽ ይቀየራል?" አልኳት።

"አይቀየርም።"

"እሱስ?"

ሳቀች። ሠንጠረዡን ቀደድነውና በጥያቄ ተካነው። ስንት ጎን አለው? ትይዩ ጎኖች አሉት? ጎኖቹ እኩል ናቸው? ዘዌዎቹ 90 ናቸው? ማስመሪያና ፕሮትራክተር (የዘዌ መለኪያ) ይዛ ሳትለካ ስም መጥራት ክልክል ሆነ። ያኔ የመጀመሪያው ጥያቄ በራሱ ተፈታ። ጤፍ እህል ነው፤ እህል ሁሉ ግን ጤፍ አይደለም። ካሬም ሬክታንግል ነው፤ ጎኖቹ እኩል ስለሆኑ ደግሞ ሮምበስም ነው። ተቃራኒ ጎኖቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ትይዩ ስለሆኑ ፓራሌሎግራምም ነው። "አራት ስም!" አለች፣ የቀናች ትመስላለች።

ትራፒዚየም ላይ ግን መጻሕፍቱ ራሳቸው አይስማሙም። አንዱ ጥንድ ብቻ ትይዩ የሆነ ይላሉ አንዳንዶቹ፤ ሌሎቹ ቢያንስ አንዱ ጥንድ ይላሉ። በሁለተኛው ከሄድን ፓራሌሎግራምም ትራፒዚየም ይሆናል። ፈተና ላይ መምህሯ ያለችውን ጻፊ ብያት አለፍኩ።

ፕሮትራክተሩም አስለቅሶናል። ቁጥሮቹ በሁለት ረድፍ፣ አንዱ ከቀኝ አንዱ ከግራ ስለሚጀምሩ 60 ዲግሪውን 120 ብላ ታነባለች። መፍትሔው የደብተር ጥግ ሆነ። መጀመሪያ የደብተሩን ጥግ ዘዌው ላይ ታስቀምጣለች። ዘዌው ከጥጉ ከጠበበ መልሱ ከ90 በታች መሆን አለበት። ከዚያ ወዲህ አልተሳሳተችም፤ እኔ ግን አንድ ሁለቴ ተሳስቻለሁ።

የወሩ ምርጥ ማታ የስቴኪኒው ነው። አንድ ፓኬት ስቴኪኒና ትንሽ የዳቦ ሊጥ ይዘን ጥጎቹን በሊጥ እያያያዝን ሠራን። ጎነ ሦስቱን ብትገፋው ብትጎትተው ቅርጹ አይለወጥም። ካሬው ግን በትንሹ ሲነካ ተንጋዶ ሮምበስ ሆነ። ጎኖቹ አልተለወጡም፣ ዘዌዎቹ ተለወጡ። አንድ ሰያፍ ስቴኪኒ ከጥግ እስከ ጥግ (ለዚህኛው ረዘም ያለ እንጨት መስበር ነበረብን) ስናስገባበት ቀጥ ብሎ ቆመ። ዲያጎናሉ ጎነ አራቱን ሁለት ጎነ ሦስት አደረገው።

ልጄ ስቴኪኒውን ትታ በመስኮት የጓሮውን በር ማየት ጀመረች። ከእንጨትና ከቆርቆሮ የተሠራ በር ነው፤ ከዓመት በላይ ተንጋዶ መሬት ይፍቃል። እኔ ማጠፊያው ላልቶ ነው እያልኩ ሁለት ጊዜ ማጠፊያ ቀይሬያለሁ። ቅዳሜ አንድ ሰያፍ ጣውላ መታንበት። እስካሁን አልወረደም። የጣሪያው ካፕሪያታ (ጣሪያውን የሚሸከመው የእንጨት መዋቅር) በጎነ ሦስት የተሞላው ለምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ፤ በአርባ ዓመቴ።

ከዚያው ማታ አንድ ነገር አስደነገጠኝ። 10 በ20 የሆነ ሬክታንግል ቦታ ስፋቱ 200 ካሬ ሜትር ነው። የዚያኑ ቦታ አራት ጎኖች ርዝመታቸውን ሳትነካ አንዱ ዘዌ 30 ዲግሪ እስኪሆን ብታንጋድደው ስፋቱ 100 ይሆናል። አጥሩ ግን ያው 60 ሜትር ነው። አራቱን ጎን ብቻ በሜትር ለክቶ "ይኼን ያህል ካሬ ነው" የሚል ሰው ቢያጋጥማችሁ ከጥግ እስከ ጥግ ያለውንም ለካልኝ በሉት። ስፋቱ 200 ሆኖ ዙሪያውም ሊለያይ ይችላል፦ 8 በ25 ቢሆን 66 ሜትር፣ 5 በ40 ቢሆን 90 ሜትር ቆርቆሮ ይፈልጋል።

ጎረቤታችን ግንበኛ ናቸው። መሠረት ሲያወጡ ልታይ ወሰድኳት። ችካል ተክለው ሲባጎ ወጠሩ፤ ከአንዱ ጥግ በአንድ በኩል 60 ሳንቲ፣ በሌላው 80 ሳንቲ ምልክት አደረጉ፤ በሁለቱ ምልክቶች መካከል ያለው ልክ 100 እስኪመጣ ሲባጎውን ገፋ መለስ አደረጉት።

"ስኳድራው ወጣ" አሉ፤ ጥጉ ልክ 90 ዲግሪ ሆነ ማለታቸው ነው። ከዚያ ሁለቱን ዲያጎናሎች ለኩ።

"ጋሼ፣ ዲያጎናሎቹ እኩል ከሆኑ ይበቃል?" አለቻቸው።

"አይበቃም የኔ ልጅ። መጀመሪያ ፊት ለፊት ያሉት ጎኖች እኩል ይሁኑ። አለዚያ አንዱ ወገን ጠቦም ዲያጎናሉ እኩል ሊመጣ ይችላል።"

እቤት መጥታ ሣለችው። እውነታቸውን ነው፤ ሁለት ገዳዳ ጎኖቹ እኩል የሆኑ ትራፒዚየም ዲያጎናሎቹ እኩል ናቸው።

የዘዌዎች ድምር ላይ ብዙ አልቆየንም። ከወረቀት ጎነ ሦስት ቆርጣ ሦስቱን ጥጎች ቀደደችና ጎን ለጎን ገጠመቻቸው፤ ቀጥ ያለ መስመር፣ 180 ዲግሪ። ሌላው ጎነ ብዙ በጎነ ሦስቶች ይከፋፈላል፤ የጎነ ሦስቶቹ ቁጥር ከጎኖቹ በሁለት ያንሳል። ጎነ አምስት ሦስት ጎነ ሦስት ነው፣ 540። ጎነ ስድስት አራት ነው፣ 720።

እዚህ ላይ የጎነ ስድስት ሥዕል ሣይ ብላት የንብ ቀፎውን ዓይነት ሣለች። የእኛ ቤት ፕላን እንደ እንግሊዝኛው L የሚታጠፍ ነው፤ "ይኼስ ስንት ጎን አለው?" ስላት ቆጥራ ስድስት ሲሆንባት አላመነችም። ከአንዱ የውጭ ጥግ ዲያጎናል ስትስብ ደግሞ መስመሩ ከቤት ወጣ። ወደ ውስጥ ከገባው ጥግ ስትስብ ግን አራት ጎነ ሦስት ሆነ። አምስት 90 እና አንድ 270፣ ድምሩ 720። ወደ ውስጥ የገባ ጥግ ያለው ጎነ ብዙም ሕጉን ያከብራል።

በዚህ ተደስታ የላሊበላውን ቤተ ጊዮርጊስ ከላይ የተነሣ ፎቶ አመጣች። የመስቀሉን የውጭ ጠርዝ ብትቆጥሩት ጎነ አሥራ ሁለት ነው። ስምንት 90 እና አራት 270። ደምሩት፤ 1800። አሥር ጎነ ሦስት ማለት ነው። አራዳ ጊዮርጊስን ደግሞ እሑድ ዞረን አየነው፤ ጎነ ስምንት ነው፣ እያንዳንዱ ዘዌ 135። "ቁም" የሚለው የትራፊክ ምልክትም ያው ቅርጽ ነው።

አሁን የተያዘችው በኳስ ነው። የድሮው ጥቁርና ነጭ ኳስ 12 ጎነ አምስትና 20 ጎነ ስድስት አለው። በየጥጉ አንድ ጎነ አምስትና ሁለት ጎነ ስድስት ይገናኛሉ፦ 108፣ 120፣ 120። ድምሩ 348 ነው። ጠረጴዛ ላይ ከካርቶን ቆርጣ ስትገጥማቸው የ12 ዲግሪ ክፍተት ቀረ። ክፍተቱን ስትዘጋው ካርቶኑ ጎበጠ። ኳሱ የሚከበው በዚያች ክፍተት ነው አልኳት። ካላየሁ አላምንም ብላ መቀስ ያዘች። ወንድሟ ኳሱን ደብቆታል፤ የት እንዳደረገው ለእኔም አልነገረኝም።