አምስተኛው ጋቢ

ሚኒየቸር፣ ማለትም ትንንሽ የሰው ምስሎችን፣ መቀባት ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ቀዩም፣ አረንጓዴውም፣ ቡናማውም ብዙ አላስቸገሩኝም። ነጭ ግን አሳሬን አበላኝ። ስለዚህ ላለፉት አምስት ወራት ሌላውን ሁሉ ትቼ አንድ ነገር ብቻ ሠራሁ፤ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ፣ ቁመታቸው 75 ሚሊ ሜትር። በየወሩ አንድ። የተማርኩትን ላካፍላችሁ።

ምስሉን ገዝቼ ጋቢውን ራሴ ነው የማለብሰው። ቢጫና ሰማያዊ ሆኖ የሚመጣውን ኤፖክሲ ፑቲ (ሲደባለቅ ቆይቶ የሚጠነክር ሊጥ መሳይ ነገር) አረንጓዴ እስኪሆን አሸዋለሁ፣ የሕፃን ፓውደር ነስንሼ በስሱ እዳምጠዋለሁ፣ ከዚያ ትከሻቸው ላይ ጣል አደርግና እጥፋቱን በስቴኪኒ አወጣለሁ። እጥፋቱ ሲበዛ ቀለሙም ይቀልላል። ለጥ ያለ ነጭ ጨርቅ መቀባት ከሁሉም ይከብዳል።

የመጀመሪያውን በነጭ ፕራይመር (ከቀለሙ በፊት የሚቀባ መነሻ ሽፋን) ጀምሬ፣ ከጠርሙሱ የወጣውን ነጭ እንዳለ ቀባሁበት። የብሩሹ መስመር ሁሉ ቀረበት፣ እጥፋቱም ተደፈነ። ያን ሰሞን ከአዲስ አበባ ሜሪላንድ ልትጠይቀኝ መጥታ የነበረችው እናቴ አንስታ አየችው። «ልጄ፣ ይሄ ኖራ ነው እንጂ ጋቢ ነው እንዴ?» አለችኝ። ልክ ነበረች። ከነጭ በላይ የሚያበራ ቀለም የለም። ሁሉንም ነጭ ካደረጋችሁት ብርሃኑን የምታሳዩበት ቦታ አይተርፍም።

ሁለተኛውን በጥቁር ፕራይመር ሞከርኩ። ስምንት እጅ ቀብቼም ጥቁሩ ከሥር ያሳብቅ ነበር። ሦስተኛውን ነጭ ቀብቼ፣ ጥላ እንዲሆን ብዬ ቀጭን ጥቁር ቡናማ ቀለም አፈሰስኩበት። እጥፋቱ ውስጥ ጥሩ ገባ። ሜዳው ላይ ግን ቡና የፈሰሰበት ጠረጴዛ ላይ እንደሚቀረው ዓይነት ክብ ክብ እድፍ ትቶ ደረቀ። ለጨርቅ ይህን ዘዴ አልመክርም።

ነገሩን የቀየረው እናቴ ያመጣችልኝ ጋቢ ነው። አንድ ጠዋት መስኮቱ አጠገብ ወንበር ላይ ጣል አደረግኩትና አንድ የፕሪንተር ወረቀት ጎኑ አስቀመጥኩ። ዕድሜዬን ሙሉ ነጭ ነው ያልኩት ጋቢ ከወረቀቱ ጎን ሲታይ እርጎ መሰለ። ጥጥ ነዋ። ቀረብ ብዬ እጥፋቶቹን አንድ በአንድ አየሁ። ወደ መስኮቱ የዞሩት ጥላቸው ወደ ሰማያዊ ያደላ አመድማ ነው። ወደ ክፍሉ መብራት የዞሩት ቢጫ ይላሉ። አራት ድርብ ስለሆነ ጫፉ ላይ የሚሠራው እጥፋት ወፍራምና ክብ ነው፤ እንደ ነጠላ ስል ጠርዝ የለውም። እውነተኛው ነጭ የታየኝ የወንበሩ ጫፍ ላይ፣ ከመዳፌ በማይበልጥ ቦታ ብቻ ነበር።

አራተኛውን ይህን እያየሁ ቀባሁ። ፕራይመሩ ግራጫ። መሠረቱ ቫዬሆ የሚባለው የቀለም ኩባንያ ዴክ ታን የሚለው ፈዛዛ ግራጫማ ቡኒ፣ ትንሽ ግራጫ ጠብ ያለበት። ጋቢውን በሙሉ በዚህ ሁለት እጅ ሸፈንኩት። ነጭ አይመስልም፣ አትደንግጡ። ከዚያ ጥልቁን ቦታ እየተውኩ ኦፍ ኋይት (ከንጹሕ ነጭ ትንሽ የደበዘዘ) እየጨመርኩበት ወጣሁ፣ በአራት ደረጃ። ንጹሕ ነጭ የነካው የትከሻውን አናትና የትልልቆቹን እጥፋቶች ጀርባ ብቻ ነው።

ብርሃኑ የት እንደሚያርፍ ለማወቅ ኤርብራሽ (ቀለም በአየር የሚነፋ መሣሪያ) አያስፈልግም። ፕራይመሩ እንደደረቀ ምስሉን አንድ መብራት ሥር አቁሙትና በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። ያ ፎቶ ካርታችሁ ነው። እኔ ስቀባ ስልኬን ፊቴ ደግፌ አቆመዋለሁ።

የማቅጠኑን ነገር ሁሉም ሰው ይናገራል፣ ስንት እንደሆነ ግን ብዙም አይነገርም። እኔ ለአንድ ጠብታ ቀለም ሁለት ጠብታ ውሃ ነው የማደርገው። ብሩሹን ከነከርኩ በኋላ ሶፍት ላይ አንዴ ነካ አደርገዋለሁ፣ አለበለዚያ ውሃው ሜዳው ላይ ተንጣሎ ጠርዝ ሠርቶ ይደርቃል። አንዱ እጅ በደንብ ሳይደርቅ ሌላውን አትድገሙ፤ የታችኛው ተልጦ ይነሳል። ነጭ ሲደርቅ እንደ ጠመኔ የሚሻክረው ብዙ ጊዜ ወፍሮ ሲቀባ ወይም ፓሌት (ቀለም የምንቀላቅልበት ሰሌዳ) ላይ መድረቅ ከጀመረ በኋላ ስንጠቀምበት ነው። ስለዚህ ቀለሙን ከሥር የሚያርስ እርጥብ ፓሌት ያዙ። ክዳን ያለው የምግብ ዕቃ፣ እርጥብ ስፖንጅና የዳቦ መጋገሪያ ወረቀት ካላችሁ በቂ ነው። ለነጭ የራሱ የውሃ ብርጭቆ ይኑረው። ባለፈው ወርቅማ ቀለም ያጠብኩበትን ውሃ ረስቼ ተጠቅሜ ጋቢው ላይ ብልጭ ብልጭ የሚል ብናኝ ቀረብኝ። እሱ አይለቅም።

አምስተኛው ላይ ያሻሻልኩት ሁለት ነገር ነው። አንደኛው አንገታቸውና ጋቢው የሚገናኙበት ቦታ። እዚያ በቀጭን ብሩሽ ጥቁር ቡናማ መስመር አሰመርኩ፣ የፀጉር ያህል። ጋቢው ላይ ምንም ሳልጨምር የበለጠ ነጭ ሆኖ ታየ። ፊታቸው ጠይም መሆኑም ረድቶኛል። ሁለተኛው ጥለቱ ነው። አራተኛው ላይ ጥለቱን ከዳር እስከ ዳር በአንድ ዓይነት ቀይ አስምሬው የተለጠፈ ፕላስተር መስሎ ነበር። አሁን እጥፋት ውስጥ ሲገባ ቀዩን ጠቆር፣ ሲወጣ ፈካ አደረግኩት። ከጨርቁ ጋር የተሸመነ መሰለ።

ስለ መብራት አንድ ነገር ልጨምር። ቢጫ አምፖል ሥር ስሠራ ሳላውቀው ሰማያዊ አበዛ ነበር፤ ጠዋት ሳየው ጋቢው በረዶ ይሆናል። አሁን የቀን ብርሃን የሚመስል 5000 ኬልቪን አምፖል ገዝቻለሁ። ማት ቫርኒሽ (መጨረሻ ላይ የሚነፋ የማያብለጨልጭ መከላከያ) ስትነፉ ደግሞ ጣሳውን ሁለት ደቂቃ ያህል በደንብ ነቅንቁት፤ አየሩ ወበቅ ከሆነም ለሌላ ቀን አሳድሩት። ሦስተኛው ላይ በሐምሌ ወበቅ ነፍቼ እንደ ውርጭ ነጭ ጉም ለብሶ ቀርቷል።

አምስተኛውን ፎቶ ለእናቴ ላክሁላት። «አሁን ብርድ ያስጥላል» ብላ መለሰችልኝ።

ስድስተኛው ጠረጴዛዬ ላይ ነው፤ ነጠላ የተከናነበች ሴት። ነጠላው ስስ ስለሆነ ከሥሩ ፀጉሯና የቀሚሷ ቀለም ሊታይ ይገባል። ያሰብኩት መጀመሪያ ፀጉሩንና ቀሚሱን ጨርሼ፣ ነጠላው ከሰውነቷ ጋር የተጣበቀበት ቦታ ላይ የሥሩን ቀለም ከአይቮሪ (ክሬም መሳይ ነጭ) ጋር ቀላቅዬ መቀባት፣ ከሰውነቷ የራቀበትን እጥፋት ደግሞ እንደ ጋቢው መሥራት ነው። ትናንት ማታ ፀጉሩን ጨረስኩ። ነጠላ ቀብታችሁ የምታውቁ ካላችሁ፣ ግንባሯ ላይ ያለውን ጠርዝ እንዴት እንደሠራችሁት ንገሩኝ።