ፎቶውን አሳዪኝ፣ ግን መጀመሪያ ጨርቁን እንየው

ልብስ እየሠራሁ የምኖር ሰው ሆኜ ሁሌ አንድ ዓይነት ነገር መልበሴ ግራ የሚያጋባቸው ሰዎች አሉ። ሰፋ ያለ የወንድ ሸሚዝ፣ ጥቁር ሱሪ፣ ሸራ ጫማ። ሲበርደኝ ነጠላ አንገቴ ላይ ጣል። በቃ፣ ይኸው ነው። «አንቺ ለሰው ብቻ ነው እንዴ የምትሰፊው?» ይሉኛል። ለራሴም እሰፋለሁ። ግን ቀኑን ሙሉ ወለል ላይ ተንበርክኬ ጨርቅ ስቆርጥ፣ የምልክት ሳሙናውን ሱሪዬ ላይ ስጠርግ፣ መርፌ ኮሌታዬ ላይ ስሰካ ለምውል ሰው ሐር ምን ያደርግልኛል?

ሸሚዞቹ አብዛኞቹ ሳልባጅ ናቸው። ይህን ስናገር ፊታቸውን የሚያጨማድዱ ደንበኞች አሉኝ። እኔ ግን ስፌት በደንብ የገባኝ በሳልባጅ ነው። መርካቶ ክምሩ ሥር ቁጭ ብዬ ልብሱን እገለብጠዋለሁ፣ የማየው ውስጡን ነው። አንድ የቆየ የሱፍ ኮት ገዝቼ ገበሩን በምላጭ ተርትሬ አየሁት። ደረቱ ውስጥ ሸራ አለ። ሸራው ከሱፉ ጋር የተያዘው በእጅ ነው፣ በጣም ትንንሽ በሆነ ስፌት፣ ረድፍ በረድፍ። ኮሌታው ቀጥ ብሎ የሚቆመው፣ ደረቱም ቅርጹን የሚይዘው ለዚህ ነው። ርካሹ ኮት ላይ ያ ሁሉ ሥራ በሙጫ ይለጠፍና ከጊዜ በኋላ ደረቱ አረፋ አረፋ ይሠራል። ይህን ክፍል ውስጥ ማንም አላስተማረኝም።

የሸሚዝ ፍቅሬ ደግሞ ከሐዋሳ የመጣ ነው። የኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2008 ዓ.ም. ከተመረቀ በኋላ እዚያ ካሉት ፋብሪካዎች በአንዱ ጥራት ተቆጣጣሪ ሆኜ ሠርቻለሁ። ፋብሪካ ውስጥ ሸሚዝ የሚሰፋ ሰው የለም። አንዷ ኪስ ትለጥፋለች፣ አንዷ እጅጌ ትገጥማለች፣ አንዷ የቁልፍ ቀዳዳ ታወጣለች። እኔ ኮሌታ አያለሁ። ኮሌታ፣ ኮሌታ፣ አሁንም ኮሌታ። ሁለቱ ጫፎች እኩል ናቸው? ስፌቱ ከጠርዙ እኩል ርቋል? ማታ ሰርቪስ ውስጥ ከፊቴ የተቀመጠውን ሰው አንገት ማየት ማቆም አቃተኝ። ሥራው አሰልቺ ነበር፣ አልዋሽም፣ ደመወዙም ያው የሚታወቅ ነው፣ እና በ2014 አጎዋ (ልብሱ ያለ ቀረጥ አሜሪካ ይገባበት የነበረው ዕድል) ከመቋረጡ በፊት ጨርቄን ማቄን ሳልል ወጣሁ። ዓይኔ የተሳለው ግን እዚያ ነው። ዛሬም ኮሌታው የተዛባ ሸሚዝ ሳይ ያሳክከኛል።

«ሐሳብ ከየት ነው የምታመጪው?» የሚለውን ጥያቄ የሚጠይቁኝ ሰዎች የሚጠብቁት መልስ ፒንተረስት፣ ኢንስታግራም፣ የፓሪስ ትርኢት ምናምን ነው። አያለሁ፣ የማያይ ማን አለ። ግን ሠርቼ የወደድኩት ነገር ሁሉ የመጣው ከጨርቁ ነው። ምን ይፈቅዳል? ምን እምቢ ይላል?

አንዲት ደንበኛ ትመጣለች። ስልኳን ታወጣለች። «በቃ ልክ እንደዚህ አድርገሽ ሥሪልኝ።» ፎቶው ላይ ያለችው ሴት የለበሰችው ሳቲን ነው፣ ያውም የሚለጠጥ፣ ወገቧ ላይ የተጣበቀ፣ ከጉልበት በታች የሚዘረጋ። ደንበኛዬ በፌስታል ይዛ የመጣችው ደግሞ እናቷ ያስፈተሉትን ፈትል ነው። ፈትል አይለጠጥም። ጠበቅ አድርገሽ ከሰፋሽው ስትቀመጪ ስፌቱ ይዟል፣ ከስፌቱ ጎን ያሉት ክሮች ግን ይሸሻሉ፣ ከዚያ ወዲያ ምንም ብታደርጊ አይመለሱም። እኔ ክርክር አልወድም። ጨርቁን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጌ መስታወት ፊት አቆማታለሁ። በራሱ እንዴት እንደሚወርድ ስታይ ብዙውን ጊዜ ፎቶው ይረሳል። የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባል የለ። አንዳንዷ ግን አትረሳም። እሷን ወደ ሌላ ሰፊ እልካታለሁ፣ በሰላም፣ ያለ ቅያሜ።

ሽሮ ሜዳን ብዙ ሰው የሚያውቀው መንገድ ዳር ባሉት ሱቆች ነው። ቀሚሶቹ በር ላይ ተሰቅለው፣ ሻጮቹ «ነይ የኔ ቆንጆ፣ ግቢና ተመልከቺ» እያሉ። ሽመናው ያለው ከዚያ ጀርባ ነው፣ ወደ እንጦጦ ሲወጣ ባሉት ሰፈሮች፣ ጠባብ ቤቶች ውስጥ። ብዙዎቹ ሸማኔዎች ከጋሞ፣ ከዶርዜና ከአካባቢው የመጡ ናቸው፣ ወይም የእነሱ ልጆች። ሸማኔው ጉድጓዱ ጠርዝ ላይ ይቀመጣል፣ በእግሩ ድሩን ከፍ ዝቅ ያደርጋል፣ በእጁ መወርወሪያውን ከአንዱ ወደ ሌላው ያሻግራል። የእኔ ሥራ የሚጀምረው እዚህ ነው፣ ገና መቀስ ሳልይዝ። የጨርቁ ስፋት በሰውየው ክንድ ይወሰናላ! በአንድ እጁ ወርውሮ በሌላው መቀበል አለበት፣ ስለዚህ ጨርቁ ብዙ ጊዜ አንድ ሜትር አይሞላም። ነጠላም ጋቢም ሰፊ የሚሆኑት ቁራጮቹ ጎን ለጎን ስለሚያያዙ ነው።

እንደ እኔ በፋብሪካ ጨርቅ የሠለጠነ ሰው መጀመሪያ ይበሳጫል። የቀሚሱ ፓተርን በስፋቱ አይገባም። እጅጌው ከአካሉ ጋር አይወጣም። ክብ ብለሽ ስትቆርጪው ክሩ ይፈታል፣ አንገቱን ሰፍተሽ እስክትጨርሺ ግማሽ ጣት ያህል ጨርቅ ተበልቶ ያገኘሽዋል። ስታጥቢው ይሰበሰባል፣ ስለዚህ ሳይቆረጥ መታጠብ አለበት፣ ይህንን የማያደርግ ሰፊ ካጋጠማችሁ ቀሚሳችሁ ከመጀመሪያው እጥበት በኋላ ለታናሽ እህታችሁ ነው የሚሆነው። እና ቀስ በቀስ ክቡን ተውኩት። ስፌቴን ጨርቁ በራሱ የሚያልቅበት ዳር ላይ አደረግኩ፣ ዳሩ ስለማይፈታ መቀምቀምም አያስፈልገውም። ቀጥ ያለ ትከሻ፣ ቀጥ ያለ እጅጌ፣ ብብት ሥር አንዲት አራት ማዕዘን ቁራጭ ክንድ እንዲነሣ። አሁን ሰዎች ይህን አይተው «የሷ ስታይል ነው፣ ታስታውቃለች» ይላሉ። የእኔ እኮ አይደለም። የሸማኔው ክንድ ነው።

ጥበቡም እንደዚሁ። የታተመ ጨርቅ ቢሆን አበባውን የፈለግሽው ቦታ ታሳርፊዋለሽ። በሽመና ግን ጥበቡ ከግርጌ ምን ያህል ከፍ እንደሚል፣ ደረት ላይ የት እንደሚወርድ፣ እጅጌው ጫፍ ላይ ስንት ጣት እንደሚሆን ጨርቁ ገና ክር ሳለ ተወስኖ ማለቅ አለበት። ሸማኔው የቀለሙን ክር በጣቱ ድሩን እየቆጠረ ያስገባል። ከተሸመነ በኋላ «ትንሽ ወደ ላይ ብናደርገው» ብሎ ነገር የለም። እኔ በሒሳብ ደብተር ላይ፣ ባለ ካሬው ላይ፣ አንዱን ካሬ በጥቂት ክር እየተመንኩ ነው የምነድፈው። አብሬያቸው የምሠራው ሸማኔ አባት ደብተሩን አይተው ይስቃሉ። እሳቸው ሁሉንም በቃላቸው ነው የሚይዙት። አንዳንዴ የነደፍኩትን አይተው «ይሄ እዚህ ጋ ይታነቃል» ይሉኛል፣ ማለትም ቀለሞቹ ተጨናንቀዋል፣ እና ልክ ናቸው።

ከሁሉ በላይ ሐሳብ የሚሰጠኝ ግን የሚለብሰው ሰው ነው። ነጠላን ተመልከቱ። አልተቆረጠ፣ አልተሰፋ፣ ቁልፍ የለው፣ ዚፕ የለው። ያው ጨርቅ ቤተ ክርስቲያን ሲኬድ መስቀለኛ ይጣፋል። ለቅሶ ሲሆን ጥለቱ ወደ ላይ፣ ወደ ፊት ይመጣል፣ ሐዘንተኛዋን ከሩቅ ታውቃታላችሁ። እንግዳ ሲስተናገድ ደግሞ ወገብ ላይ ይታጠቃል፣ ያደገደገች ሴት ሥራ ላይ ናት፣ ማንም ሊያስቆማት አይሞክርም። እሁድ ጠዋት ቦሌ መድኃኔ ዓለም ደጅ ቆሜ ሰው ሲወጣ ማየት እወዳለሁ (አዎ፣ ቅዳሴውንም እሰማለሁ)። አንዷ ባለ ጂንስ ናት፣ ነጠላዋን እንደ ነገሩ ጣል አድርጋ ወደ ታክሲ ትሮጣለች። ከኋላዋ አንዲት እናት ያንኑ ነጠላ አንድ ክር ሳይዛነፍ ይዘው በቀስታ ይወርዳሉ። ልዩነቱን በሱቅ አትገዙትም። ከዚህ ተነሥቼ የሠራሁት ቀሚስ አለኝ። አንዱ ትከሻው ላይ ያልተሰፋ ረዥም ቁራጭ አለው፣ የምትለብሰው ሴት እንደፈለገች ታደርገዋለች። አንዳንዷ አንገቷ ላይ ትጠመጥመዋለች፣ አንዳንዷ ወገቧን ታስርበታለች፣ አንዷ ልጅ ስታዝልበት አየሁ።

«ባህላዊ ነው ዘመናዊ?» ለሚለው ጥያቄ ትዕግሥቴ አልቋል። ድሮ ለጥለቱ የሚሆነው ቀይ ክር ከውጭ ከመጣ ጨርቅ እየተተረተረ ይወጣ ነበር። ንጹህ የኛ የምንለው ነገር ውስጥ የሰው አገር ክር ነበረበት ማለት ነው፣ እና ማንም አልሞተም። ልብስ ቀላል ነገር ነው የሚሉኝን ደግሞ የ1960 ዓ.ም.ን ነገር አስታውሳቸዋለሁ። ያን ዓመት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የፋሽን ትርኢት ተዘጋጅቶ ተማሪዎቹ ተቃወሙት፣ ረብሻ ተነሣ፣ ሚኒ ስከርት የፖለቲካ አጀንዳ ሆነ። የተቃዋሚዎቹን ሐሳብ በከፊል እረዳለሁ፣ አገሬው ተርቦ የውጭ ሞድ ማሳየት ያናድዳል። ግን ሁሌ የሚገርመኝ፣ ተቆጪው ወንድ፣ የሚቆጣበት የሴት ቀሚስ መሆኑ ነው። የሱፍ ልብስና ክራባቱን ማን ጠየቀ?

የታተመው ጥበብ ግን ያስከፋኛል። ከሩቅ ሲታይ ሽመና ይመስላል፣ ቀረብ ብለሽ ስትገለብጪው ጀርባው ነጭ ነው፣ ቀለሙ ላይ ላዩን ተረጭቷል። ከውጭ በጥቅል ተጭኖ ይመጣል፣ ዋጋው ከእጅ ሥራው ጋር አይወዳደርም። የምትገዛውን ሴት አልወቅስም። ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ ተብሎ ያደገ ሰው በኪሱ ልክ አዲስ ነገር ቢለብስ ምን ነውር አለው? የምወቅሰው ሻጩን ነው፣ «የሽሮ ሜዳ እጅ ሥራ ነው» ብሎ የሚሸጠውን። ስትገዙ ገልብጡት። የተሸመነ ጥበብ ጀርባው ላይም ክሩ ይታያል።

ስለ ቀለም ካነሣሁ ሐረርን ሳልጠቅስ አላልፍም። ጀጎል ውስጥ መኪና ግርግር የሚባል መንገድ አለ፣ ስሙን ያገኘው ከስፌት መኪናዎቹ ድምፅ ነው። ሰፊዎቹ ደጅ ላይ ተደርድረው ጨርቅ ገዝተሽ ከመጣሽ ቆመሽ ያሰፉልሻል። ግድግዳው ሮዝ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ። ከፊቱ የምታልፈው ሴት ብርቱካናማ በሐምራዊ ላይ ደርባ። አዲስ አበባ ላይ «አይሄድም» የምንለው ሁሉ እዚያ ይሄዳል። ከዚያ ስመለስ ሱቄ ውስጥ ያለው ነገር ሁሉ ነጭና የዝሆን ጥርስ መሆኑ አሳፈረኝ፣ ሽንሽን ቀሚሶቼ ውስጥ ደማቅ ገበር ማስገባት የጀመርኩት ያኔ ነው። ውጪው ዝም ያለ፣ ስትራመድ ብቻ ቢጫው ብልጭ የሚል።

ጥርና ሚያዝያ ግን ስለ ሐሳብ አትጠይቁኝ። ሰርግ ነው፣ መልስ ነው፣ ከቨርጂኒያ በቪዲዮ ልኳን የምትልክ ሙሽራ ናት (ሜትሩን ወገቧ ላይ አላልታ ይዛ፣ ሁሌም)። ያኔ ሰፊ ብቻ ነኝ።

አሁን ሥራ ቀዝቀዝ ሲል የያዝኩት የጋቢ ጃኬት ነው። ጋቢ አራት ድርብ ነው፣ ይሞቃል፣ ግን እጅጌ ሲሆን ክንድ አያሳጥፍም፣ ልክ ስሞክረው ክንዴን እንደታሸገ ሰው ዘርግቼ ነው የቆምኩት። አካሉን አራት ድርብ ትቼ እጅጌውን ወደ ሁለት አወረድኩት። ክርኑ ላይ ደግሞ ጨርቁ ተወጥሮ ጉብታ እየሠራ አስቸገረኝ። ውስጡ ቀጭን ገበር ባስገባ ይይዘዋል፣ ግን ገበር ከገባ ሲታጠብ ጋቢው ይሰበሰባል፣ ገበሩ አይሰበሰብም፣ እና እጅጌው ይጣመማል። ገበሩን በቁልፍ የሚወልቅ ለማድረግ አስቤያለሁ። ሳምንት ከሸማኔው አባት ጋር እናየዋለን፣ እሳቸው ከወዲሁ «ለምን እጅጌ አስፈለገው?» ብለውኛል።