ስሙን ንገረኝ

ይህን ምስክርነት ለመጻፍ ሁለት ዓመት ፈጀብኝ። ስንቴ ጀምሬ ተውኩት። የእኔ ጸሎት የተመለሰበት መንገድ ሰው ቆሞ እልል የሚልበት ዓይነት አይደለም። ዛሬም በየማታው መድኃኒት እውጣለሁ። ግን ጌታ ሰምቶኛል። እንዴት እንደሰማኝ ልንገራችሁ።

የጀመረው በግራ እግሬ ነው። 29 ዓመቴ ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ስነሳ ባቴን ጅማት የያዘኝ መሰለኝ። አሸት አሸት አድርጌው ወደ ሥራ ሄድኩ። ማታ ጫማዬን ሳወልቅ ግራ እግሬ ከቀኙ በጣም ወፍሯል። የካልሲው ላስቲክ ዙሪያውን ጎድጉዶበታል። ቆዳው ይሞቃል፣ ተወጥሮ ያብለጨልጫል። ያልፋል ብዬ ሦስት ቀን ታገስኩ። በአራተኛው ቀን መርገጥ አቃተኝ።

አልትራሳውንድ የምታነሳኝ ባለሙያ ከጉልበቴ ጀርባ መሣሪያውን ጫን ለቀቅ፣ ጫን ለቀቅ ታደርጋለች። ጤነኛ የደም መልስ ሥር ሲጫኑት ይተኛል። የእኔ አልተኛም አለ። ቦታ ቀየር አድርጋ እንደገና ተጫነችው። ከዚያ ዝም አለች። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ስታጫውተኝ ነበር።

ጥያቄው ተከተለ። ረጅም ጉዞ ነበረሽ? አልነበረኝም። ቀዶ ሕክምና? የለም። የወሊድ መከላከያ ትወስጃለሽ? አልወስድም። ከቤተሰብ ደም የረጋበት አለ? የለም። ልጆች አሉሽ? የሉኝም። ሐኪሙ ወረቀቱ ላይ የሆነ ነገር ሞነጫጨረ። በኋላ ሳነበው "ምክንያቱ ያልታወቀ" ይላል። መጀመሪያ ሄፓሪን በመርፌ፣ ቀጥሎ ዋርፋሪን ለስድስት ወር ታዘዘልኝ። ሰው ደም ማቅጠኛ ይለዋል እንጂ ደሙን አያቀጥነውም። ቶሎ እንዳይረጋ ነው የሚያዘገየው።

ስድስት ወሩ አለቀ፣ መድኃኒቱ ቆመ። አምስት ወር ያህል ደህና ነበርኩ። ከዚያ ደረጃ መውጣት ከበደኝ። አየር ስስብ ቀኝ ጎኔን እንደ ጩቤ ይወጋኛል። የሳንባ ምች ነው ተባልኩ፣ አንቲባዮቲክ ወሰድኩ። አልተሻለኝም። ተመልሼ ስሄድ ሌላ ሐኪም አገኘኝ። "ጭንቀት ነው፣ ትንሽ ዕረፍት አድርጊ" አለኝ። እግሬ ላይ ደም ረግቶ እንደነበር ነግሬዋለሁ። አልሰማኝም። በሦስተኛው ቀን ሳስል ሶፍቱ ላይ ደም አየሁ። ሲቲ ስካን ሲነሳ በሁለቱም ሳንባዎቼ ውስጥ የረጋ ደም ተገኘ። ያን ሐኪም አልተቀየምኩትም ብል እዋሻለሁ። ይቅር ለማለት ብዙ ወራት ወስዶብኛል።

ከሞት ተርፌ ወጣሁ። ዋርፋሪኑ እንደገና ተጀመረ። ግን ለምን? ደሜ ያለ ምክንያት የሚረጋው ለምንድን ነው? ፍለጋው የተጀመረው እዚህ ላይ ነው፤ አራት ዓመት ገደማ ፈጀ።

መጀመሪያ "ፕሮቲን ኤስ ያንሳታል፣ አገኘነው" ተባለ። ፕሮቲን ኤስ ደም ከልክ በላይ እንዳይረጋ ከሚቆጣጠሩት አንዱ ነው። ደስታዬን መቆጣጠር አቃተኝ። ጉባኤ ፊት ቆሜ አመሰገንኩ። ከሁለት ወር በኋላ ሌላ ሐኪም ውጤቱን አገላብጦ አየና "ደሙ ሲቀዳ ዋርፋሪን ላይ ነበርሽ?" አለኝ። አዎ ነበርኩ። ለካ ዋርፋሪን ራሱ ፕሮቲን ኤስን ያወርደዋል። ውጤቱ የሚታመን አልነበረም። ያቀረብኩትን ምስጋና ምን ላድርገው? ቤቴ ገብቼ በሬን ዘግቼ አለቀስኩ።

ከዚያ በዘር የሚወረሰው ታየ። ፋክተር ፋይቭ ላይደን የሚባለው፣ በሆላንድ ከተማ ስም የተጠራው። የለብኝም። ካንሰር ደም ሊያረጋ ስለሚችል ሆዴ፣ ጡቴ፣ ማህፀኔ ተፈተሸ። ንጹሕ። ሐኪሞቹ "እንኳን ደስ አለሽ፣ ምንም የለም" ሲሉኝ እንባዬ ይመጣል። ሰው ይህን አይረዳም። ምንም የለም በተባልኩ ቁጥር ያ ነገር ደሜ ውስጥ ተደብቆ የሚስቅብኝ ይመስለኝ ነበር። ማታ ስተኛ እግሬን በመዳፌ እለካዋለሁ። ትንሽ ሳል ሲመጣብኝ ሶፍቱን በብርሃን አያለሁ።

በእነዚያ ዓመታት ጓደኛዬ ያቺ አሥራ ሁለት ዓመት ደም ይፈስሳት የነበረች የወንጌሏ ሴት ነበረች። የእሷ አልቆም አለ፣ የእኔ አልፈስም አለ። እሷም በብዙ ሐኪሞች እጅ ተንከራታለች። ታሪኳን ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት አላውቅም። አንድ ሌሊት ግን ሁልጊዜ የማልፈው ቦታ ያዘኝ። ከተፈወሰች በኋላ እየተንቀጠቀጠች ወድቃ እውነቱን ሁሉ ነገረችው ይላል። ሁሉን። እኔ ሁሉን ተናግሬ አውቃለሁ? ያን ሌሊት ጸሎቴ ተቀየረ። "ፈውሰኝ" ማለቱን ተውኩና "ጌታ ሆይ፣ የዚህን ነገር ስሙን ንገረኝ" አልኩት።

ከሦስት ሳምንት በኋላ አንድ በዕድሜ ጠና ያሉ የደም ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ ደረሰኝ። ፋይሌን ከጎን አስቀመጡት። "እስቲ ልጄ፣ ከመጀመሪያው ንገሪኝ" አሉ። ነገርኳቸው። ሳወራ አላቋረጡኝም። ከዚያ ጠየቁኝ።

"አርግዘሽ ታውቂያለሽ?"

እስከዚያ ቀን ሁሉም የጠየቀኝ "ልጆች አሉሽ ወይ" ብሎ ነው። "የሉኝም" እላለሁ፣ ወደ ሚቀጥለው ጥያቄ ያልፋሉ። እነዚህ ሁለት ጥያቄዎች አንድ አይደሉም። ሦስት ጊዜ አርግዣለሁ። ሁለቱ በሁለተኛው ወር ላይ ጨነገፉ። ሦስተኛው በአምስተኛው ወር ሆዴ ውስጥ ሞተ። ወንድ ነበር። እግሬ ሳይታመም ከአንድ ዓመት በፊት ማለት ነው። ከባለቤቴ ጋር እንኳ አናወራውም ነበር። እኔ በልቤ የኃጢአቴ ቅጣት ነው ብዬ ዘግቼበት ነበር።

ሐኪሙ ፊታቸው ተለወጠ። ፋይሉን ሳቡና ወደ ኋላ፣ ወደ መጀመሪያው ቀን ገለጡ። ሄፓሪን ከመጀመሬ በፊት የተሠራች አንዲት የላብራቶሪ ወረቀት አወጡ። ጫፏ ተጣጥፏል። አንዱ መስመር ላይ ደሜ ለመርጋት የሚፈጅበት ጊዜ ከመደበኛው በላይ መሆኑ ተጽፏል። እነዚያን ዓመታት ሁሉ እዚያው ነበረች። "ሰው ይህን ሲያይ ይህች ልጅ ልትደማ ትችላለች እንጂ ደሟ ይረጋል ብሎ አያስብም" አሉኝ። "ይሄ በሽታ ግን እንዲህ ነው። የላብራቶሪ ቱቦ ውስጥ መርጋቱን ያዘገየዋል፣ ሰውነት ውስጥ ያስቸኩለዋል።"

ቀስ ብለው አስረዱኝ። ሰውነቴ በሽታን እንዲዋጋ የሚሠራው ፀረ እንግዳ አካል ተሳስቶ በራሴ ላይ ይሠራል። ደም እግር ላይ ሲያረጋ እግር ያብጣል። ሳንባ ውስጥ ሲገባ ትንፋሽ ያሳጥራል። የእንግዴ ልጁን ሲጎዳው ደግሞ ፅንሱ የሚኖርበትን ያጣል። ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው "ያንቺ ጥፋት አልነበረም" አሉኝ። አልጠየቅኳቸውም እኮ። ስለ ቅጣት አንድም ቃል አልተነፈስኩም። ማን ነገራቸው? እኔ አውቃለሁ ማን እንደነገራቸው።

ለምርመራው ዋርፋሪኑን በእሳቸው ክትትል ለጥቂት ጊዜ በመርፌ ተኩልኝ፤ ደም የሚቀዳበትንም ሰዓት ከመርፌው አራርቀው ወሰኑ። የሚታየው ፀረ እንግዳ አካል ሦስት ዓይነት ነው። ሉፐስ አንቲኮአጉላንት፣ አንቲካርዲዮሊፒን፣ አንቲ ቤታ ቱ ግላይኮፕሮቲን። ሦስቱም ተገኙብኝ። ግን በዚህ አይበቃም። ኢንፌክሽን እንኳ ለጊዜው ሊያስነሳቸው ስለሚችል ቢያንስ 12 ሳምንት ተጠብቆ መደገም አለበት።

ስለ እነዚያ 12 ሳምንታት ብዙ መናገር እችላለሁ። የጸሎት ጓደኛዬ "ድጋሚው ነጌቲቭ እንዲሆን እንጸልይ" ስትለኝ አሜን ማለት አቃተኝ። ነጌቲቭ ከሆነ ወደዚያ ስም አልባ ጨለማ መመለሴ ነው። ፖዘቲቭ ከሆነ ዕድሜ ልክ የሚቆይ በሽታ አለብኝ ማለት ነው። በሽታ እንዲገኝብኝ እንዴት ልጸልይ? አንዳንድ ሌሊት ተንበርክኬ ምንም ሳልል እነሳለሁ። በመጨረሻ "እውነቱን ብቻ" አልኩ። ከዚያ እንቅልፍ ይወስደኝ ጀመር።

ሁለተኛው ውጤት መጣ። ሦስቱም ነበሩ። ሐኪሙ ወረቀት ላይ በትልቁ ጻፉልኝ። አንቲፎስፎሊፒድ ሲንድሮም። በፈረንጆች 1983 ግራሃም ሂውዝ የተባሉ እንግሊዛዊ ሐኪም እንደገለጹት ነገሩኝ። እኔ ሳልወለድ ማለት ነው! እኔ በጨለማ ስሙን ስለምን፣ ስሙ ከእኔ ቀድሞ ነበረ። ኮሪደሩ ላይ ግድግዳ ተደግፌ ስሙን ፊደል በፊደል አነበብኩት። የሚያልፍ ሰው መርዶ የተረዳሁ መስሎት ውኃ አመጣልኝ። ምስጋና ላይ ነበርኩ።

ስም ማወቅ ምን ይጠቅማል የሚለኝ አለ። ይጠቅማል። እንደ ቀድሞው ስድስት ወር ወስጄ ላቁም ብል ኖሮ ምን ይገጥመኝ ነበር? ወደ አዲሶቹ ደም ማቅጠኛዎች ልቀየር ቀጠሮ ተይዞልኝ ነበር። ሦስቱም ምርመራ ለተገኘበት ሰው እነሱ አይመከሩም፤ ዋርፋሪን ነው የሚሻለው። ቀጠሮው ተሰረዘ። አሁን አይኤንአር የሚባለው፣ ደሜ ለመርጋት ምን ያህል እንደሚዘገይ የሚያሳየው ቁጥሬ በ2 እና በ3 መካከል እንዲቆይ በየጊዜው ደሜ ይለካል። ስለ ልጅም፣ በዝቅተኛ አስፒሪንና በሄፓሪን መርፌ፣ በቅርብ ክትትል ብዙ ሴቶች እንደሚወልዱ ተነግሮናል። ለእርግዝና ካሰብን ዋርፋሪኑን አስቀድሞ ከሐኪም ጋር መቀየር ያስፈልጋል፤ ፅንስ ይጎዳል። የእኛ ጉዳይ ገና ጸሎት ላይ ነው።

አንድ ሰው በቅንነት "በእምነት ክኒኑን ጣዪው" ብሎኝ ነበር። አልጣልኩትም። ያን ስም ያሳየኝ አምላክ ክኒኑንም በእጄ ያስያዘኝ እሱ ነው። እናንተም አንድ እግራችሁ ብቻ ቢያብጥ፣ ትንፋሽ በድንገት ቢያጥራችሁ አትታገሱ። ሂዱ። ሐኪሙ ባይጠይቃችሁም ሁሉን ንገሩት፣ የምታፍሩበትንም።

ውጤቱን ይዤ የገባሁ ማታ ባለቤቴ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበው። አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለ። መብራቱን አላጠፋም። ለሦስተኛው ልጃችን በአራተኛው ወር ላይ ስም አውጥተንለት ነበር። ከሞተ በኋላ ያ ስም ቤታችን ውስጥ ተነስቶ አያውቅም። ባለቤቴ ቀና ብሎ አየኝና በስሙ ጠራው። ከስድስት ዓመት በኋላ። እኔም ተከትዬ ጠራሁት።