ፍሪኩዌንሲው ካስቀመጥኩበት እንዳይሸሽ

ሰሞኑን ማታ ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ የምቀመጠው አንድ ቪኤፍኦ ላይ ነው። ለማያውቀው ሰው፣ ቪኤፍኦ ማለት በአማተር ሬዲዮ የምንልክበትን ፍሪኩዌንሲ የሚፈጥር፣ ማዞሪያውን እያዞርን ወደፈለግንበት የምንወስደው ኦሲሌተር ነው። የኔው በትራንዚስተር ሳይሆን በቫልቭ የሚሠራ ነው። ድሮ ሳሎን ቤት ኮመዲኖ ላይ ይቀመጥ የነበረው ትልቅ ሬዲዮ ትዝ ይላችኋል? ሲከፍቱት ወዲያው የማይናገረው፣ ሞቅ ሲለው ነው ድምፁ ቀስ እያለ የሚመጣው። ቫልቭ የምለው እዚያ ውስጥ የነበሩትን የመስታወት ቱቦዎች ነው።

"ይሄ ሁሉ ልፋት ለምን?" የሚለኝ ወዳጅ አለ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ዛሬ በጥቂት ዶላር ጣት የምታክል ዲጂታል ሰሌዳ ይገዛል፣ ሥራውንም በደንብ ይሠራል፣ ፍሪኩዌንሲውም ከቫልቩ በተሻለ ይረጋል። እኔም አለኝ። ግን እሱ ላይ ፍሪኩዌንሲ ማለት የምጽፍለት ቁጥር ነው፣ ሌላውን አላይም። ቫልቩ ላይ ስሠራ ፍሪኩዌንሲ በእጄ የምነካው ነገር ይሆናል፤ የሽቦው ርዝመት፣ የሳጥኑ ውፍረት፣ የብሎኑ መጥበቅ፣ የክፍሉ ሙቀት ሁሉ ያለበት ነገር። ሬዲዮ ምን እንደሆነ የገባኝ እንዲህ ስሠራ ነው።

እዚህ አሜሪካ ለጀማሪዎች የኖቪስ ፈቃድ መሰጠት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1951 ነው። ያን ጊዜ ጀማሪው እንዲልክ የሚፈቀድለት በክሪስታል ብቻ ነበር፣ ያውም ከ75 ዋት ሳይበልጥ። ክሪስታል ማለት አንድ ፍሪኩዌንሲ ብቻ የሚሰጥ የኳርትዝ ቁራጭ ነው፣ ከቦታው አይነቃነቅም። ሁለት ክሪስታል ያለው ልጅ ያለው ፍሪኩዌንሲም ሁለት ነው። እዚያ ላይ ጉልበተኛ ጣቢያ ከመጣበት እስኪለቅለት መጠበቅ ነው። ጥሪ ካሰማ በኋላም የሚመልስለት ሰው የራሱ ክሪስታል ያለበት ቦታ ሆኖ ስለሚመልስ፣ ባንዱን፣ ማለትም የተፈቀደውን የፍሪኩዌንሲ ክልል፣ ከላይ እስከ ታች እያሰሰ ይፈልገዋል። ይህ ገደብ የተነሳው በ1972 ነው። ለእነዚያ ልጆች ቪኤፍኦ ማለት ምን እንደነበር ሳስበው ደስታቸው ይገባኛል። ሰው ወዳለበት መሄድ መቻል ቀላል ነገር አይደለም።

እኔ ያለኝ ፈቃድ ከኖቪስ ከፍ ያለው፣ ጄነራል የሚባለው ነው። በ40 ሜትር ባንድ በሞርስ የማዘወትረው ከ7.025 እስከ 7.125 ሜጋኸርዝ ያለውን ነው። ኦሲሌተሩ ግን የሚሠራው በግማሹ፣ በ3.5 ሜጋኸርዝ አካባቢ ነው፤ እጥፍ የሚያደርገው ቀጥሎ ያለው ደረጃ ነው። እንዲህ የሚደረገው በምክንያት ነው። የሚላከው ኃይልና ኦሲሌተሩ በአንድ ፍሪኩዌንሲ ላይ ከሆኑ፣ ከሚላከው ላይ ትንሽ ተመልሶ እየገባ የኦሲሌተሩን ፍሪኩዌንሲ ይጎትተዋል።

አሁን ዋናው ችግር ይመጣል፣ መሸሽ፤ ማለትም ማዞሪያውን ሳልነካ ፍሪኩዌንሲው ቀስ እያለ ከቦታው መንሸራተቱ። ፍሪኩዌንሲውን የሚወስኑት የሽቦ ጥቅልልና ቻርጅ የሚይዝ ካፓሲተር ናቸው። አንድ ሂሳብ ልንገራችሁ። የካፓሲተሩ መጠን በአንድ አሥር ሺኛ ብቻ ቢለወጥ ፍሪኩዌንሲው የዚያን ግማሽ ያህል ይለወጣል። በ7 ሜጋኸርዝ ላይ ይሄ 350 ኸርዝ ነው። በሞርስ የሚሠራ ሰው ብዙ ጊዜ 500 ኸርዝ ወይም ከዚያ የጠበበ ፊልተር ያደርጋል። ስለዚህ ያን ያህል ከሸሸሁ ከሚያዳምጠኝ ሰው ጆሮ እጠፋለሁ፣ ይባስ ብሎም ጎኔ በሚያወሩ ሰዎች ላይ ሄጄ እቀመጣለሁ። ይሄ ለኔ የጨዋነት ጉዳይ ነው። ባንዱ የሁላችን ነው፣ በራስህ ቦታ ረግተህ መቀመጥ አለብህ።

የመረጥኩት ንድፍ ክላፕ የሚባለውን ነው፤ ጄምስ ክላፕ በ1948 ያሳተመው። ሐሳቡ ደስ ይላል። ቫልቭ ሲሞቅና ቮልቴጁ ከፍ ዝቅ ሲል በውስጡ ያለው ካፓሲታንስ ይለዋወጣል፤ ይህን ማስቀረት አይቻልም። ክላፕ ያደረገው ለውጡ እንዳይሰማ ማድረግ ነው። ከቫልቩ ጎን ትልልቅ ካፓሲተሮች ይገባሉ፣ በሺህ ፒኮፋራድ የሚቆጠሩ። የቫልቩ የአንድና የሁለት ፒኮፋራድ ለውጥ እነሱ ውስጥ ይሰጥማል። ፍሪኩዌንሲውን የሚወስኑት ጥቅልሉና ከሱ ጋር በተከታታይ የገባው ትንሹ ካፓሲተር ናቸው። ስለዚህ ልፋቱ ሁሉ እዚያ ላይ ነው የሚገባው፣ ቫልቩ የትም የሚገኝ ርካሽ 6ኤዩ6 ቢሆን ምንም አይደል።

ጥቅልሉን የሠራነው ቅዳሜ ዕለት ከታላቋ ልጄ ጋር ነው። የሽቦውን አንድ ጫፍ የጓሮ በር እጀታ ላይ አሰርኩና ሌላውን ይዤ እስኪወጠር ወደኋላ ሄድኩ። ሳብ ሲያደርጉት የመዳብ ሽቦ ጠማማው ሁሉ ይወጣለታል። ከዚያ ጫፉን ሽቦው የሚጠመጠምበት የሴራሚክ ቱቦ ላይ አስሬ፣ ውጥረቱን ሳልለቅ ሴራሚኩን በሁለት እጄ እያዞርኩ፣ ዙሩን ከዙሩ ጎን እያስጠጋሁ ቀስ ብዬ ወደ በሩ መራመድ ጀመርኩ። እሷ በፀጉር ማድረቂያ ከፊቴ ያለውን ሽቦ ታሞቃለች። ሽቦ ሞቆ ከተጠመጠመ ሲቀዘቅዝ ይኮማተርና ሴራሚኩን ጭምቅ አድርጎ ይይዛል፤ ከዚያ በኋላ በጥፍር ብትገፋው እንኳ ንቅንቅ አይልም። "አባዬ፣ እጄ ዛለ" እያለች እስከ መጨረሻው አልለቀቀችም። ጎበዝ ናት።

ሙቀቱ ሌላ ራስ ምታት ነው። የ6ኤዩ6 ማሞቂያ 6.3 ቮልት በ0.3 አምፔር ይወስዳል፣ ወደ 2 ዋት ማለት ነው። ይህ ሙቀት ከጥቅልሉ ጋር አንድ ሳጥን ውስጥ ከተዘጋ ማታውን ሙሉ ስትሸሽ ማደርህ ነው። ስለዚህ ቫልቩ ከላይ፣ ከሻሲው (ሁሉም ነገር ከሚታሰርበት ብረት) ውጭ ቆሞ ይሞቃል፤ ጥቅልሉና ካፓሲተሮቹ ከታች ወፍራም አልሙኒየም ሳጥን ውስጥ ናቸው። ጥቅልል ሲሞቅ ኢንዳክታንሱ፣ ማለትም የጥቅልሉ መጠን፣ ከፍ ይልና ፍሪኩዌንሲው ወደታች ይወርዳል። ሲሞቅ መጠኑ የሚቀንስ ካፓሲተርም አለ፣ ኤን750 የሚባለው። ከሱ ትንሽ ሲጨመር አንዱ የሌላውን ያጣፋል። ያም ሆኖ መጀመሪያ ላይ መታገስ ግድ ነው። ምጣዱ ሳይሰማ ሊጥ እንደማይፈስ ሁሉ፣ ቫልቩም ሞቆ ሳይረጋ ጥሪ አላሰማም። ለፕሌቱ፣ ማለትም ከፍተኛው ቮልቴጅ ለሚገባበት የቫልቩ ክፍል፣ የሚሄደውን ቮልቴጅ ደግሞ 0ኤ2 የሚባል የጋዝ ቱቦ 150 ቮልት ላይ ይይዘዋል፤ የፍሪጁ ሞተር በተነሳ ቁጥር ድምፄ እንዳይወላገድ።

በጣም የምወደው ፈተና ይሄ ነው። መቀበያውን ከፍቼ የኦሲሌተሩን ፉጨት እየሰማሁ ሳጥኑን በጣቴ ኳ ኳ አደርገዋለሁ። ፉጨቱ ከተንቀጠቀጠ የላላ ብሎን ወይም የሚወዛወዝ ሽቦ አለ ማለት ነው። አጠብቅና እንደገና አንኳኳለሁ። ሽቦዎቹን ሁሉ አጭርና ወፍራም ያደረግኳቸው ለዚሁ ነው።

መሥራት ለምታስቡ አንድ ነገር አደራ። ይሄ የባትሪ ድንጋይ ሥራ አይደለም። የኔ ኃይል ሰጪ 250 ቮልት አለው፣ ሰው ይገድላል። ሶኬቱ ከተነቀለ በኋላም ትልልቆቹ ካፓሲተሮች ቻርጅ ይዘው ይቆያሉ። ቻርጁን የሚያፈስ ሬዚስተር ከመጀመሪያው ይበየድ፣ በሜትር ሳትለኩ እጃችሁን አታስገቡ፣ ግድ ሆኖ እየሠራ መለካት ካለባችሁም አንድ እጃችሁ ኪስ ውስጥ ይሁን። ብቻችሁን ቤት ስትሆኑም አትንኩት።

አዲስ አበባ አምስት ኪሎ፣ ቴክኖሎጂ ግቢ ውስጥ የአማተር ሬዲዮ ክለብ ጣቢያ አለ፣ የጥሪ ስሙ ኢቲ3ኤኤ ነው። ኢቲ የኢትዮጵያ መለያ ነው። ሌሊት ላይ 7 ሜጋኸርዝ ውቅያኖስ ያሻግራል፤ ከዚህ ከሜሪላንድ አዲስ አበባ ድረስ በገዛ እጄ በሠራሁት ኦሲሌተር ጥሪ ማሰማት የልብ ምኞቴ ነው። የኔ አንቴና ጓሮ ያለች አንዲት ሽቦ ናት፣ ኃይሌም ትንሽ ነው፣ እዚያ ስደርስ በጣም ደክሜ ነው የምሰማው። የደከመ ድምፅ የሚለየው ፊልተር አጥብቦ የሚያዳምጥ ሰው ነው። ፊልተሩ ሲጠብ ደግሞ ሃምሳ ኸርዝ መሸሽ እንኳ ብዙ ነው። ለዚህ ነው ማዞሪያው ላይ ከመድከም በፊት ሳጥኑ ላይ የደከምኩት።

አሁን የቀረኝ የማስተካከያው ካፓሲተር ነው። ያለኝ በአንድ በኩል ብቻ የተደገፈ ስለሆነ ስነካው ይወዛወዛል። ዘንጉ ከፊትም ከኋላም መደገፊያ ያለው፣ ከ50 እስከ 100 ፒኮፋራድ የሚሆን፣ ከአሮጌ ሬዲዮ የወጣ ያላችሁ ካላችሁ አትጣሉት፤ ንገሩኝ፣ ዋጋውን እከፍላለሁ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ላላችሁ ደግሞ ራሴ መጥቼ እወስዳለሁ።